የዘጠነኛው ቀን ተሳፋሪዎች

ከሚኒባሱ ሥር የወጡት ሁለት እግሮች የግሮቨር ናፒየር መሆናቸውን ለማወቅ ፊቱን ማየት አላስፈለገም። በሎረል ሸለቆ ቀይ የጎማ ቦት የሚያደርግ ሌላ ሰው አልነበረም።

መርማሪ ቨርና ስቲድሃም ጭቃው ላይ ተንበርክካ አጎንብሳ አየች። መኪናው ደረቱ ላይ አርፏል። መኪናውን ያነሳበት ክሪክ አጠገቡ ዝቅ ብሎ ተቀምጧል።

«አደጋ ነው» አለ ሸሪፉ ከኋላዋ ቆሞ። «ክሪኩ ከድቶት ነው።»

«የክሪኩ እጀታስ የታለ?»

ሸሪፉ ዙሪያውን ቃኘ። እጀታው በጋራዡ ግድግዳ ላይ፣ ከሌሎቹ መፍቻዎች ጎን፣ ምስማሩ ላይ ተሰቅሏል።

«ይህን ክሪክ ለማውረድ ዘይቱን የሚለቀውን ቡሎን በዚያ እጀታ ጫፍ መፍታት ያስፈልጋል» አለች ቨርና። «ግሮቨር ከሞተ በኋላ ተነስቶ ዕቃውን ቦታው አልመለሰም።»

ሐኪሙ ሰውየው ከሞተ ሁለት ቀን ሊሆነው ነው አለ፤ ማክሰኞ አመሻሽ ላይ። ዛሬ ሐሙስ፣ የወሩ ዘጠነኛ ቀን ነው። ግሮቨር «ማክሰኞ ማታ ከተማ እህቴ ዘንድ ሄጄ ሐሙስ ጠዋት እመለሳለሁ» ብሎ ለሁሉም ተናግሮ ስለነበር የፈለገው አልነበረም።

ቨርና የሚኒባሱን ውስጥ ፈተሸች። ከሾፌሩ ወንበር ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ የክብሪት ቀፎ የሚያክል መሣሪያ አገኘች። እንዲህ ያለውን በሥልጠና ላይ አይታዋለች። የገንዘብ ካርድ ሲንሸራተትበት ቁጥሩን ገልብጦ ያስቀራል።

«እንግዲያው የሰዉን የምግብ ካርድ የሚሰርቀው ግሮቨር ነው ያለችው ሾና ልክ ነበረች» አለ ሸሪፉ። «የገደለችውም እሷ ናት። ባለፈው ወር በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሃያ ሰው እየሰማ ‹እቀብርሃለሁ› ብላዋለች። ዛሬ አስራታለሁ። ለልጆቿም ከሕፃናት ጉዳይ ቢሮ ሰው ጠርቻለሁ፤ አሥር ሰዓት ላይ መጥተው ይወስዷቸዋል።»

የሾና ልጆች አንዷ ስድስት፣ አንዷ አራት ዓመቷ ነው። ባዳ ቤት የሚገቡ ልጆች መጀመሪያ አብረው ይሄዳሉ፤ ከዚያ አንዷ ወደዚህ፣ አንዷ ወደዚያ ትላካለች፤ ከዚያ አንዷ የሌላዋን ድምፅ ትረሳለች። ቨርና እናት ስለሆነች ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰበችው።

«እስከ አሥር ሰዓት ስጠኝ» አለች።

የሚጠረጠሩት ሦስት ነበሩ። በሸለቆው መኪና ያለው ጥቂት ሰው ነው። መንግሥት ለችግረኞች በየወሩ የምግብ መግዣ ገንዘብ የሚሞላበት ካርድ ያላቸው ሰዎች ደግሞ የሚሞላላቸው ቀን እንደ መዝገብ ቁጥራቸው ይለያያልና፣ በግሮቨር ሚኒባስ አብረው ወደ ሱፐርማርኬት የሚሄዱት ቀናቸው የገጠመ ሰዎች ነበሩ። ዘጠነኛው ቀን የሾና፣ የሽማግሌው ኢዝራና የአሮጊቷ አርሊን ነበር፤ ሁለቱን አዛውንቶች ሸለቆው ሁሉ አጎቴና አክስቴ ይላቸዋል።

ከሦስት ወር በፊት ሦስቱም ገንዘብ ተቀባይዋ ፊት ቆመው ካርዳቸው ባዶ መሆኑን ሰሙ። ገና ከመሙላቱ ሌላ ሰው ጠርጎ ወስዶታል። የተሰረቀውን የሚተካ አልነበረም። የምግብ ካርዱ ቢሮ ሠራተኛ የሰጠቻቸው አንድ ምክር ብቻ ነው፤ በየወሩ፣ ካርዱ በሚሞላበት ዋዜማ፣ በስልክ ደውሉና የምስጢር ቁጥራችሁን ቀይሩ። ሌባው ያለፈውን ወር ቁጥር ይዞ ይቀራል።

ሾና በሯን በግማሽ ከፍታ ቆመች። ሁለቱ ልጆች ቀሚሷን ይዘዋል።

«ልታስሪኝ ነው የመጣሽው?»

«ልጠይቅሽ።»

«ጠይቂያ! አዎ፣ እቀብርሃለሁ ብያለሁ። ቢነሳ አሁንም እለዋለሁ።»

«እሱ መሆኑን በምን አወቅሽ?»

«መች አወቅኩ፣ ጠረጠርኩ እንጂ። ከሁለት ወር በፊት ከገበያ ስንመለስ፣ አውራ ጎዳናው ላይ ኔትወርክ ስላለ፣ ዋዜማውን ምን አስጠበቀኝ ብዬ እዚያው ጎኑ ተቀምጬ ደውዬ ቀየርኩ። እጄን ሲያይ ነበር ለካ። በወሩ የእኔ ካርድ ብቻ ተራቆተ። አክስቴ አርሊንና አጎቴ ኢዝራ በዋዜማው ስለቀየሩ ምንም አልሆኑም። እኔ ልጆቼን አንድ ወር ሙሉ በቤተ ክርስቲያን ቦሎቄ አሳደርኩ።»

«ማክሰኞ ማታ የት ነበርሽ?»

«እዚሁ። ምስክሮቼ እነዚህ ናቸው። አንዷ እስከ አሥር መቁጠር አትችልም።»

«ትናንትስ ቁጥርሽን ቀየርሽ?»

«ቀየርኩ እንጂ! እነዚህን በዝናብ እየጎተትኩ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ሄጄ። ምን ላድርግ? ያ ሌባ እህቱ ቤት ተጋድሞ ድጋሚ ይመዝብረኝ?»

«ክሪክ ይዘሽ ታውቂያለሽ?»

«ምን?»

«መኪና የሚያነሳው።»

«መኪና ኖሮኝ ያውቃል?» አለች ሾና፤ በሩንም ዘጋችው።

ኢዝራ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ያስላል። ሠላሳ ዓመት የድንጋይ ከሰል ሲቆፍር የዋጠው አቧራ አሁን በየቀኑ ያስከፍለዋል።

«አጎቴ ኢዝራ፣ ግሮቨር እንዴት ያለ ሰው ነበር?»

«ስለ ሞተ ሰው ክፉ አልናገርም። ስለ እሱ ደግሞ ሌላ የምናገረው የለኝም።»

«ትናንት ቁጥርዎን ቀይረዋል?»

«ሄጄ ነበር፣ አሥር ሰዓት ግድም። ያንን ረጅሙን የካርድ ቁጥር ዓይኔ ስለማያነበው አርሊን ናት ሁልጊዜ የምትደውልልኝ። የምስጢሩን ግን እኔው ራሴ በጣቴ ዳብሼ እጫናለሁ። ስጫን ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ጨዋ ሴት ናት።»

«አዲሱ ቁጥር የባለቤትዎ ልደት እንዳይሆን ብቻ።»

«ለአንቺ ልንገርሽ?» አለ ኢዝራ ዓይኑን አፍጥጦ። «ለሐኪሜ እንኳ አልናገርም!»

ቨርና ሳቀች፤ ሳቋ ግን ወዲያው ጠፋ። በሰዓቷ ሰባት ሰዓት አልፏል።

አርሊን በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ለችግረኞች የሚታደሉ የታሸገ ምግብ ጣሳዎችን በካርቶን ትደረድራለች። ቁመቷ አጭር፣ እጇ ጠንካራ የሆነ የሰባ ዓመት ሴት ናት። ባሏ ሆበርት፣ የማዕድኑ ኩባንያ መካኒክ የነበረው፣ የሞተው ከሦስት ወር በፊት ነው።

«ግሮቨር?» አለች እጇን ሳታቆም። «ደግ ሰው ነበር፣ ልጄ። የሆበርትን ሬሳ ሳጥን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነው።»

«ካርዱን የሚሰርቀው እሱ ነው የሚሉትንስ፣ አክስቴ አርሊን?»

«ሾና ወጣት ናት፣ ትቸኩላለች። ሌቦቹ ባሕር ማዶ ናቸው ይላሉ። በኮምፒውተር ነው አሉ የሚሠሩት።»

«ማክሰኞ ማታ የት ነበሩ?»

«ቤቴ። ብቻዬን። ከማን ጋር ልሁን?»

ቨርና ካርቶን በማንሳት ረዳቻት። ስልኩ ከመደርደሪያው ጎን ግድግዳ ላይ ነው። ሸለቆው ውስጥ የሞባይል ኔትወርክ ስለሌለ ሰው ሁሉ የሚደውለው ከዚህ ነው። ስልኩን የተጠቀመ ሁሉ ስሙን፣ ቀኑንና የደወለበትን ምክንያት አጠገቡ በክር በተንጠለጠለው ደብተር እንዲጽፍ የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች ደንብ አውጥተዋል። ቨርና ገጾቹን ገለጠች። ያለፉትን ሦስት ወራት ስምንተኛ ቀናት አንድ በአንድ አነበበች። ከዚያ ደብተሩን በእርጋታ ለቀቀችው።

በዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሁሉም ምድር ቤቱ ውስጥ ተሰበሰቡ። ሸሪፉ ደረጃው ሥር ቆሟል። ልጆቹን ለመውሰድ የመጣችው ሴት ቀደም ብላ ደርሳ ፋይሏን እቅፏ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ሾና ሁለቱን ልጆች ጭኗ ላይ አጣብቃ ይዛ ሴትዮዋን ብቻ ታያለች። ኢዝራ ያስላል። አርሊን የመጨረሻዎቹን ጣሳዎች ትደረድራለች።

«ግሮቨርን የገደለው ሰው የዘይቱን ቡሎን ያውቃል» ብላ ጀመረች ቨርና። «ፈታው፣ መኪናው ወረደ፣ ከዚያ እጀታውን መልሶ ሰቀለ። የደነገጠ ሰው ዕቃ ይጥላል። የለመደ ሰው ግን እጁ ራሱ ቦታው ይመልሰዋል።»

«ይህ ማንንም አይለይም» አለ ሸሪፉ።

«ገና ነኝ። ግሮቨር ማክሰኞ ሞተ፣ ሐሙስ ተገኘ። በመካከሉ ባለው ረቡዕ ዕለት ሸለቆው ሁሉ እህቱ ቤት ያለ መስሎት ነበር። መሞቱን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው። ረቡዕ ደግሞ ስምንተኛው ቀን ነው፤ ዋዜማው።»

ኢዝራ ማሳሉን አቆመ።

«ሾና ረቡዕ ዕለት በዝናብ ልጆቿን ይዛ መጥታ የምስጢር ቁጥሯን ቀይራለች። ደብተሩ ላይ አለ። ከሞተ ሌባ ካርዱን የሚሰውር ሰው የለም፤ ሾና ግሮቨር በሕይወት አለ ብላ ታስብ ነበር። አጎቴ ኢዝራም ቀይረዋል። ያለፉት ሁለት ወራት ስምንተኛ ቀን ላይ ሌላም ስም አለ። በዚህ ወር ግን የለም።» ወደ አርሊን ዞረች። «ቁጥርዎን አልቀየሩም፣ አክስቴ።»

«ረሳሁ ብልሽስ?»

«ቀኑን ሙሉ ከስልኩ ጎን ነበሩ። ለአጎቴ ኢዝራ የደወሉት እርስዎ ነዎት። የእሳቸውን እየቀየሩ የራስዎን አይረሱም። ሌቦቹ ባሕር ማዶ ናቸው ብለውኛል፤ ያንን ቢያምኑ ኖሮ መጀመሪያ የሚቀይሩት እርስዎ ነበሩ። ሌባው ማን እንደሆነ ያውቃሉ፤ እንደማይመለስም ያውቃሉ።»

አርሊን በእጇ የያዘችውን ጣሳ ካርቶኑ ውስጥ አስቀመጠች። ከዚያ ቀና አለች፤ ፊቷ ላይ ፍርሃት አልነበረም።

«ካርዳችን ባዶ የሆነ ዕለት በጥዋቱ ሆበርት የስኳር በሽታ መርፌውን ተወጋ» አለች። «እኔ ከገበያ እንደተመለስኩ ሊበላ፤ መርፌው ምግብ ካልተከተለው ይገድላል። ቤት ውስጥ የሚቀመስ ነገር አልነበረም። ባዶ ቦርሳዬን ይዤ ስገባ ወንበሩ ላይ ደርቆ ነበር። ያ ግሮቨር ሳጥኑን ተሸከመልኝ። እየተላቀሰ!»

«ማክሰኞስ?» አለች ቨርና።

«ለመንገዱ የበቆሎ ዳቦ ጋግሬ ወሰድኩለት። እሱ ከመኪናው ሥር ነበር። ዳቦውን መቀመጫው ላይ ላስቀምጥ ስል ወረቀት አየሁ። የእኔ ስም፣ ከሥሩ የዱሮ ቁጥሬ። የሆበርት ልደት ነው። ይሄ ምንድን ነው አልኩት። ከሥር ሆኖ ሳቀ። ‹ተዪው አክስቴ፣ መንግሥት በወሩ ሌላ ይሰጥሽ የለ?› አለኝ። ሆበርትንስ ይሰጠኛል አልኩት። ጠበቅኩት። ይቅርታ ለማለት የሚበቃ ጊዜ ሰጠሁት። ፉጨት ጀመረ። ሆበርት እንዳሳየኝ አድርጌ ቡሎኑን ፈታሁት። ወረቀቱን ምድጃ ውስጥ ከተትኩት፣ እሱን ደግሞ እዚያው ተውኩት።»

«እጀታውንስ?»

«ሆበርት ዕቃ መሬት ላይ ሲጣል አይወድም።»

ሾና ልጆቹን አውርዳ ተነሳች። «እና እኔ ልታሰር፣ እነዚህ ሊወሰዱ ነው እያሉ ጣሳ ይደረድራሉ? ስለ ሆበርት ብለው እኔን ሊቀብሩኝ?»

«ገና አሥር ሰዓት አልሞላም» አለች አርሊን። «ሲሞላ እናገር ነበር።»

ቨርና ፊቷን ተመለከተች። እውነት ይሁን ውሸት ሊገባት አልቻለም። ሾናም አልገባትም፤ መልሳ ተቀመጠችና የትንሿን ልጅ ፀጉር በጣቷ ታበጥር ጀመር። ሴትዮዋ ፋይሏን ዘግታ፣ ማንንም ሳትሰናበት ደረጃውን ወጣች። ሾና ያን ጊዜ ብቻ አለቀሰች።

«የምትጸጸቺበት ነገር አለ?» አለ ሸሪፉ ማስታወሻውን እያወጣ።

«አለ። ቶሎ ሞተ።»

ቨርና አርሊንን በክንዷ ያዘቻት። ሲያልፉ ኢዝራ ኮፍያውን አውልቆ ከወንበሩ ተነሳ። ሾናም፣ ዓይኗን እየጠረገች፣ አርሊንን ሳታያት ተነሳች።

«ቨርና» አለ ኢዝራ። «የሚፈርዱባት ከተራው ሕዝብ የሚመረጡ አሥራ ሁለት ሰዎች ናቸው፣ አይደል?»

«አዎ፣ አጎቴ።»

«ከዚሁ አገር?»

«ከዚሁ አገር።»

«እንግዲህ ፈልጊና አምጪያ» አለ ኢዝራ፣ «ተርቦ የማያውቅ አሥራ ሁለት ሰው።»