የሚስማር ግራ እግር

የሞተው ልጅ ታኬታው እንኳ አልወለቀለትም። መልበሻ ክፍሉ ውስጥ፣ የተጎዳ በሚታሽበት አልጋ ላይ በጀርባው አስተኝተው ፊቱን በገዛ ማሊያው ሸፍነውታል። ከግድግዳው ወዲያ ሕዝቡ ገና ይዘፍናል። ዕረፍቱ ለምን እንደረዘመ የነገረው የለም።

መርማሪዋ በሩ ላይ ቆማ መጀመሪያ ያየችው እግሮቹን ነው። ኳስ አታውቅም፤ ባሏ በሕይወት ሳለ ሲጮህ ጎል መግባቱን ትረዳ ነበር፣ ከዚያ አላለፈችም። እግር ግን እግር ነው። የልጁ ቀኝ እግር ቀጭንና ጠንካራ ነው። ግራው ከጉልበቱ በታች ተነፍቶ ካልሲውን ወጥሮታል።

«በዚህ እግር ነው ሲጫወት የነበረው?» አለች። 

ልጁ ተከላካይ ነበር፣ በዋናው ቡድን መሰለፍ ከጀመረ ገና ጥቂት ጨዋታው። ጓደኞቹ «ሚስማር» ይሉታል፤ አንዴ ከቆመበት የሚነቅለው አጥቂ የለምና። የመጀመሪያው አጋማሽ ሲያልቅ እያነከሰ ገብቶ፣ አየር አጠረኝ ብሎ፣ ደረቱን ይዞ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ውሃ እስኪያቀብሉት ድረስ አልቆየላቸውም።

በማግስቱ አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ነገሩን በአጭሩ ነገራት። ባቱ ውስጥ ደም ረግቶ ነበር። የረጋው ደም ከቦታው ተነቅሎ ሳንባው ውስጥ ተወሸቀ።

«እንዲህ ያለ እግር አይሮጥበትም፣ አይታሽም» አላት። «እዚህ ጋ ግን እይ። የአውራ ጣት ሰንበር ነው። በዚያው ዕለት፣ ከጨዋታው በፊት፣ አንድ ሰው ተጭኖ አሽቶታል። ቆዳው ላይ ቫዝሊን አለ።»

ከሆስፒታሉ በር ላይ የልጁ ታላቅ እህት ጠበቀቻት። እናታቸው ከሞተች ወዲህ እህትም እናትም ሆና ያሳደገችው እሷ ናት፤ የምትሠራው ሆቴል ውስጥ ልብስ አጣቢነት ነው። አላለቀሰችም። የመርማሪዋን ክንድ ጨብጣ፣ «ማን እንደገደለው ሳይነገረኝ አልቀብረውም» አለች። «ሰው ይሳቅብኝ፣ ቄሱም ሼኩም ይቆጣኝ። አልቀብረውም።»

«እነግርሻለሁ» አለች መርማሪዋ። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ቃል ከአፏ አይወጣም።

ከተማው ግን ገዳዩን አስቀድሞ ለይቶ ጨርሷል። ግንቡ ነው ይላል። ግንቡ የቡድኑ ነባር ተከላካይ ነው፤ ሚስማር መጥቶ ተጠባባቂ ወንበር ላይ እስኪያስቀምጠው ድረስ ቦታውን የነካበት አልነበረም። የስታዲየሙ ዘበኛ ከጨዋታው በፊት ግንቡ ከልጁ እግር ስር ተንበርክኮ፣ ግራ እግሩን በሁለት እጁ ይዞ በዓይኑ አይቷል። ይህ ሲሰማ የግንቡን ቤት መስኮት በድንጋይ አረገፉት፤ እሱንም ጣቢያ አሳደሩት። ዐቃቤ ሕጉ ክሱን ሊጽፍ ብዕሩን አንስቷል።

መርማሪዋ ጣቢያ ሄዳ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ግንቡ ስሙን የሚመስል ሰው ነው፣ በር የሚሞላ።

«እግሩ ስር ምን ትሠራ ነበር?»

«ታኬታውን አስርለት ነበር። ጎንበስ ማለት አቅቶት።»

«መጎዳቱን ታውቅ ነበራ።»

«‹ለማንም እንዳትነግርብኝ ጋሼ› አለኝ። ዝም አልኩ።»

«ብትናገር እኮ አንተ ትሰለፍ ነበር።»

ግንቡ ወለሉን አየ። «ለዚያ ነዋ ዝም ያልኩት» አለ። «ብናገር ለቦታው ብሎ ነው ይሉኛል። እሱ ራሱ እንደዚያ እንዲያስብ አልፈለግሁም። በልጁ ፊት ትንሽ ሰው ላለመሆን ብዬ… ያው እንደምታይው።»

ከዚያ ወደ ወጌሻው ሄደች። ወጌሻው የቡድኑን ተጫዋች ሁሉ እግር እንደ ልጆቹ ፊት የሚለይ፣ ነጭናጫ ሽማግሌ ነው።

«እኔ ያንን እግር አላሸሁትም» አላት ገና ሳትጠይቀው። «ግሎ ነበር። ጅማት የዞረበት እግር እንዲህ አይግልም፣ እንዲህ አይነፋም። ለአሰልጣኙ ‹ሐኪም ቤት ይሂድ፣ ማንም እንዳያሸው› ብዬዋለሁ።»

«አሰልጣኙ ምንም አልነገረኝም ይላል፣ አባባ። እንዲያውም ራስዎ ፕላስተር አስረው አሳለፉት ይላል።»

ሽማግሌው ፊቱ ደም መሰለ። በዚህ ቡድን ወጌሻው ካልሲው አናት ላይ ነጭ ፕላስተር ያልጠመጠመለት ተጫዋች ሜዳ አይገባም። ጤነኛ ነው፣ ይጫወት ማለት ነው። አዲስ የመጣ ይስቅበታል፤ ውሎ ሲያድር ግን ያለዚያች ፕላስተር ራቁቱን የቆመ ይመስለዋል።

«ሜዳ ሲገባ ታስሮለት አየሁ» አለ ወጌሻው። «እኔ አላሰርኩም ብዬ ስጮህ አሰልጣኙ ‹ሐኪም አይቶ ፈቅዶለታል› አለኝ። አመንኩት። ምን ላድርግ፣ ሐኪም ካለ እኔ ማን ነኝ?»

መርማሪዋ ክንዷን ዘረጋችለት። «እስቲ ለእኔም ይጠምጥሙልኝ።»

«አንቺ ደግሞ የት ልትሰለፊ ነው?» አለ፤ ግን አሰረላት። ጠምጥሞ ጨረሰና ጫፉን ወደ ውስጥ አጥፎ ትንሽ ምላስ አወጣላት።

«ይህቺ ለምንድን ናት?»

እጁን አሳያት። የሚያሽ ሰው ሥጋ እንዳይቧጥጥ ጥፍሩን እስከ ሥሩ ይቆርጣል። «በምን ልላጠው? ሲጎዱ ይህቺን ይዤ ሳብ ነው።»

የዚያን ቀን የሁሉም ካልሲ በድንጋጤ ሳይታጠብ ከነፕላስተሩ ከረጢት ውስጥ ቀርቷል። መርማሪዋ አስመጥታ አንድ በአንድ አየችው። ሁሉም ምላስ አለው። የሚስማር ፕላስተር ግን ምላስ የለውም፤ ጫፉ በጥርስ ተበጥሶ፣ በአውራ ጣት ተደፍጥጧል።

አሰልጣኙን ቢሮው ውስጥ ዓይኑ ቀልቶ አገኘችው። ኀዘኑ የውሸት አልነበረም። ልጁን ከሰፈር ሜዳ ያነሣው እሱ ነው። ነባሩን አስቀምጦ አንድ ፍሬ ልጅ ሲያሰልፍ የስድብ ዓይነት የወረደበትም እሱ ነው።

«ልጄ ነበር» አላት።

መርማሪዋ ጨዋታ የሚያስረዳበትን ሰሌዳ እያየች ነበር። የሰሌዳው የተሰበረ መቆሚያ እግር በነጭ ፕላስተር ተጠግኗል። ጫፉ በጥርስ ተበጥሶ ተደፍጥጧል።

«ከጨዋታ በፊት ተጫዋቾች ከካምፕ ይወጣሉ?»

«በፍጹም።»

«ሚስማር ግን በጨዋታው ዕለት ጠዋት እህቱ ቤት ነበር፤ እሷው ነግራኛለች።»

«ናፈቀችኝ አለኝ። ልጅ ነው ብዬ ፈቀድኩለት።»

«ለሌላ ሰው ፈቅደው ያውቃሉ?»

አሰልጣኙ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ፊሽካ አነሣና መልሶ አስቀመጠው። ፈቅጄ አላውቅም አለ።

የቀረው የእህቲቱ ቤት ነበር። አንዲት ክፍል ናት፤ አልጋ፣ ካውያ፣ በር ኋላ የተሰቀለ የልጁ ጃኬት። እህቲቱ እንግዳዋን አስቀምጣ ስለ ወንድሟ ታወራላት ጀመር። አሰልጣኙ ምን ያህል እንደሚያስብለት፣ እየደወለ እንዴት አደርሽ እንደሚላት ነገረቻት። ስለ ግንቡ ስትናገር ግን ድምጿ ሻከረ፤ አንድ ጊዜ ዓይኑን ባየሁት አለች። እጆቿ በሳሙናና በሙቅ ውሃ ብዛት ተሰነጣጥቀዋል። እያወራች ከመስኮቱ ደፍ ላይ አንድ ቆርቆሮ አነሣች፣ ከፍታ በአውራ ጣቷ ጨልፋ መዳፏን ማሸት ጀመረች። ቫዝሊን ነበር።

 መርማሪዋ የመጣችው ያን ጠዋት ምን እንዳደረጉ ልትጠይቃት ነበር። ውሃ ለምና ጠጣችና ወጣች።

መኪናዋ ውስጥ ቁልፉን ሳታዞር ተቀመጠች። የዚህችን ሴት ቃል ካላገኘች አሰልጣኙ አላዘዝኩም ብሎ ይወጣል፤ ግንቡም ባልነካው እግር ይፈረድበታል። ቃሏን ካገኘች ደግሞ… እነግርሻለሁ ብላታለች። ባላለች ምን ነበረበት።

በነጋታው ሁሉንም መልበሻ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አሰልጣኙና ወጌሻው አግዳሚው ላይ ራቅ ራቅ ብለው ተቀመጡ። ግንቡ በሁለት ፖሊስ መካከል በሩ ጋ ቆመ። እህቲቱ ትከሻዋ ላይ ጥቁር ሻርፕ ጣል አድርጋ መታሻው አልጋ አጠገብ ወንበር ያዘች፤ ግንቡን ስታይ ፊቷን አዞረች።

መርማሪዋ ካልሲዎቹን አልጋው ላይ ደረደረች። ምላሶቹን አሳየቻቸው፣ ምላስ የሌላትንም አሳየቻቸው። ከቢሮው ያስመጣችውን ሰሌዳ አጠገባቸው አቆመች።

«ወጌሻው አላሰረለትም» አለች። «ያሰረለት ይህን ሰሌዳ የጠገነው ሰው ነው። ወጌሻው ራሱ ያሳለፈው ልጅ ቢሆን ኖሮ፣ ሌላ ሰው ተደብቆ ባላሰረለት። እንግዲህ አሰልጣኝ፣ ወጌሻው መከልከሉን ያውቁ ነበር።»

«ፕላስተር ማሰር ወንጀል ነው?» አለ አሰልጣኙ።

«ማሰሩ አይደለም። ግንቡንም ልጨርስ። ዘበኛው እግሩን ሲይዝ አየሁት አለ እንጂ ሲያሽ አየሁት አላለም። ካልሲው ተስቦ፣ ፕላስተሩ ታስሮ አልቆ ነበር። ተጭኖ የታሸው ከዚያ በፊት ነው፣ በባዶ ቆዳ፣ በቫዝሊን። እዚህ ክፍል ቫዝሊን የለም፤ ወጌሻው ካምፎር ከሚሸተው ዘይቱ ሌላ አያስገባም። ልጁ የታሸው ውጭ ነው። ከካምፕ የወጣው ደግሞ አንዴ ነው፣ በእርስዎ ፈቃድ።»

 መርማሪዋ ወደ እህቲቱ ዞራ በርከክ አለች፤ ጉልበቷ እንደ አሮጌ በር ጮኸ።

«እህቴ» አለች። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። ባልጠይቅሽ ደስ ይለኝ ነበር። በጨዋታው ቀን ጠዋት አሰልጣኙ ደውሎልሽ ነበር?»

«አዎ።»

«ምን አለሽ?»

እህቲቱ አሰልጣኙን በምስጋና ዓይን አየችው፤ ለእሱ የምትመሰክርለት መስሏታል። «‹ጅማቱ ተሳስሮበት ነው፣ ወጌሻው ሥራ በዝቶበታል፣ ያንቺ እጅ ጠንካራ ነው፤ ባቱን ጫን አድርገሽ እሺለት› አለኝ። እኔም…»

ዓይኗ ገዛ እጆቿ ላይ ወደቀ።

አሰልጣኙ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። «አንድ ጨዋታ ብቻ ነበር» አለ። «ግንቡን መልሼ ባሰልፍ ሁሉም ‹ይኸው› ይለኛል። አንድ ጨዋታ ቆሞ ቢያሳልፍልኝ ሐኪም ቤት ልወስደው ነበር። እንደሚሞት ማን ያውቃል?»

«እንዳይታሽ የነገርኩህስ?» አለ ወጌሻው። ድምፁ ያለቅስ ነበር። «ለምን መሰለህ የነገርኩህ?»

እህቲቱ የሰማችው አንዲት ቃል ብቻ ነው። «ቆዩ እስቲ» አለች በቀስታ። «እንዳይታሽ ነበር እንዴ?»



«እትዬ» አለ ግንቡ ከበሩ። «እኔም አሽቼዋለሁ። ታኬታውን ሳስርለት፣ አሞኛል ሲለኝ። የጎዳው የእኔ ነው። እኔ ነኝ።»

ፖሊሶቹ ተያዩ። መርማሪዋ ሐሰት መሆኑን ታውቃለች፤ ካልሲው፣ ፕላስተሩ፣ ሁሉም ሐሰት ነው ይላል። ግን ለአንዲት አፍታ፣ በሥራ ዘመኗ ያላደረገችውን፣ ዝም አለች።

እህቲቱ ገዳይ ስትለው የሰነበተችውን ሰውዬ ረጅም ጊዜ አየችው።

«አንተ ልጅ፣ ውሸት አትችልበትም» አለችው። ከዚያ ለማንም ሳይሆን እንዲህ አለች፦ «አልጋዬ ላይ ተደፍቶ ነበር። ትንሽ ልጅ ሳለ እግሩን ሲያመው እንደማሽለት። ስጫነው እንባው ይወርዳል፣ ግን ይስቃል። ተው ልተውልህ ብለው ‹ጠንከር አድርጊው እታለም፣ ዛሬ መቆም አለብኝ› አለኝ። ጠንከር አደረግሁት።»

አሰልጣኙን ሲወስዱት አልተቃወመም። እህቲቱ አጠገብ ሲደርስ ሊናገር ፈልጎ ነበር፤ ቀና ብላ ስላላየችው አለፈ። ወጌሻው ተከትሎ ወጣ፣ ዓይኑን በእጅጌው እየጠረገ። ለግንቡ ነፃ ነህ ተባለ። ከቆመበት ግን አልተንቀሳቀሰም።

«ነገ እንቀብረዋለን» አለች እህቲቱ። እጆቿን ሻርፑ ውስጥ ከትታ፣ እንደ ባዕድ ነገር ከራሷ አርቃ ይዛቸዋለች። «የምታለብሰው አንተ ነህ። እኔ ከእንግዲህ አልነካውም።»

«አብረን ነው የምናለብሰው፣ እትዬ።»

«አልነካውም አልኩህ።»

ግንቡ መጥቶ ፊቷ ተንበረከከ። ሻርፑን ገለጥ አድርጎ ሁለቱንም እጆቿን ያዘ። ጎተተች። እንደገና ጎተተች፣ ደረቱን በክርኗ እየመታች፣ ያን ሁሉ ቀን ያላወጣችውን ልቅሶ አሁን እየለቀቀች። አልለቀቃትም።