የማይገጥመው መፍቻ

የእሳት አደጋ ሰዎቹ ኤልደን ክሩግን ከአሮጌው ፒክ አፑ ሥር አውጥተው በጋራዡ ወለል ላይ አንሶላ አልብሰውታል። ፊቱ አልተጎዳም። መርማሪ ኢንግሪድ ሶርንሰን አንሶላውን ገለጥ አድርጋ ስታየው፣ ሽማግሌው ደንግጦ የሞተ ሳይሆን አንድ ነገር ጠይቆ መልሱን የሚጠባበቅ መሰላት።

ውጭ የጥቅምት ነፋስ የታጨደውን የበቆሎ ማሳ እያፏጨ ያቋርጣል። ከዚያ ወዲያ እስከ አድማስ ድረስ የነብራስካ ሜዳ ነው፤ ዛፍም ሰውም አይታይበትም።

«አደጋ ነው፣ አለቃ» አለ ምክትል ሸሪፉ ኮል። «በክሪክ አነሳው፣ ጎማውን አወለቀ፣ የብረት መቆሚያውን ሊያስገባ ደረቱን ወደ ሥር ሲያስጠጋ ክሪኩ ከዳው። መቆሚያው ይኸው፣ እጁ አጠገብ ወድቋል። ደግሞስ ይህ መኪና ገዳይ መሆኑን አገር ያውቃል።»

«መኪና ደግሞ ገዳይ ይሆናል?»

«ልጁን ዌስን የበላው ይኸው አይደል?»

ኢንግሪድ ታሪኩን ሰምታለች። ፒክ አፑ የዌስ ነበር። ከአሥር ዓመት በፊት አባትየው ፍሬኑን በገዛ እጁ በዚሁ ጋራዥ አደሰለት። ዌስ በማግስቱ ማለዳ ለሥራ ወደ ሰሜን ሊሄድ ሲወጣ መስቀለኛው መንገድ ላይ ፍሬን እምቢ አለው፤ ከነመኪናው የመስኖ ቦይ ውስጥ ገባ። ውኃው ጥልቅ አልነበረም፤ ግን በቃው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰዉ ኤልደንን ሲያይ ድምፁን ይቀንሳል። እሱም ቤተ ክርስቲያን መሄድ ተወ፤ መኪናውን ከጎተራው ጀርባ ሸራ አልብሶ ደበቀው። ሸራውን ገፎ ጋራዡ ያስገባው ዘንድሮ በበጋ ነው። ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገረም። ጎረቤቶች ግን አመሻሹ ላይ የዌስ ሞተር ሲያጓራ ሲሰሙ መስኮታቸውን ይዘጉ ነበር።

ኢንግሪድ ጋራዡን ዞረችው። መፍቻዎቹ እንደ ቁመታቸው ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል፤ እያንዳንዱ በሥሩ ጥላው በቀለም ተስሎለታል። አንድም የጎደለ የለም። በመኪናው ፓራፋንጎ ላይ ቡና የሞላ የሸክላ ኩባያ ተቀምጧል። ቡናው ቀዝቅዞ ስስ ቆዳ አውጥቷል።

«ይህን ማነው ያስቀመጠው?»

«ስንደርስም እዚያው ነበር። ማንም አልነካውም። መኪናውን ያነሱትም በኋላው በኩል ገብተው በራሳቸው መሣሪያ ነው፤ ቀስ ብለው።»

ጎንበስ ብላ ክሪኩን አየችው። ሙሉ በሙሉ ወርዶ ቀጥ ብሎ ከሻንሲው ሥር ቆሟል። ረጅሙን እጀታ በጓንት ይዛ በሁለት ጣት ሞከረችው። ዘይቱን ለቆ ክሪኩን የሚያወርደው ማስተንፈሻ ተከፍቶ ነበር። ፎቶ አስነሳችና ወደ ሟቹ ተመልሳ ደረት ኪሱን ፈተሸች። የወጣው አንድ ትንሽ መፍቻ ነው፤ በላዩ በሚስማር ጫፍ «ዌ. ክ.» ተብሎ ተጭሯል።

ኢንግሪድ መፍቻውን ግድግዳው ላይ ካሉት ጋር አስተያየችው። «የኤልደን መፍቻዎች በሙሉ በኢንች የተሠሩ ናቸው። መኪናውም እንደዚያው። ይህ ግን በሚሊሜትር ነው። እዚህ መኪና ላይ በደንብ የሚገጥመው አንድ ዳዶ የለም።»

«ታዲያ ኪሱ ውስጥ ምን ይሠራል?»

«እኔም የምፈልገው እሱን ነው።»

*

ቬርና ክሩግ ወጥ ቤቷ ውስጥ ተቀምጣ ነበር። ከስድሳ አልፋለች፤ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ከብት ያለበች ሴት በመሆኗ ትከሻዋ እንደ ወንድ ሰፊ ነው። ሁለት እጆቿን በዕቃ ማድረቂያ ጨርቅ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አኑራለች።

«ወይዘሮ ቬርና፣ እግዜር ያጽናዎት። ይህ ሲሆን የት ነበሩ?»

«እዚሁ፤ የፖም ኬክ እየጋገርኩ። ድንገት መብረቅ የወደቀ መሰለኝ። መስኮቱ ሁሉ ተንቀጠቀጠ። ሮጬ ብደርስ... አበቃለት።»

«ቀደም ብለው ወደ ጋራዡ አልሄዱም?»

«እኔ? እዚያ መኪና አጠገብ?» ጭንቅላቷን ነቀነቀች። «ሸራውን ከገፈፈ ጀምሮ እዚያ እግሬ ረግጦ አያውቅም። ሌሊት እንኳ መፍቻ ሲንኳኳ እሰማለሁ፤ ዞር ብዬ ሳይ ኤልደን አጠገቤ ተኝቷል። ታዲያ ማነው የሚያንኳኳው? ንገሪኝ እስቲ ልጄ፣ ማነው?»

ኢንግሪድ ወደ ተጠቀለሉት እጆች አየች። «እጅዎን ምን ነካዎት?»

«የኬኩ መጋገሪያ አቃጠለኝ።»

«አንዴ ልየው?»

ቬርና ጨርቁን ቀስ ብላ ፈታች። መዳፎቿ ላይ፣ ከጣቶቿ ሥር፣ ውኃ የቋጠሩ ጉብታዎች ተደርድረዋል። የጣቶቿ ጫፎች ግን ደህና ነበሩ። ኢንግሪድ ጨርቁን መልሳ ጠቀለለችላት።

የሟቹ ታናሽ ወንድም ሮላንድ በበረንዳው ደረጃ ላይ ቆቡን እያሻሸ ተቀምጧል። የእሱ ፒክ አፕ ከሰዓት በኋላ በኤልደን አጥር በር ላይ ቆሞ የታየ በመሆኑ ኮል ዓይኑን አልነቀለበትም።

«መጥተው ነበር?» አለችው ኢንግሪድ።

«እስከ በሩ። ከዌስ ቀብር ወዲህ ከወንድሜ ጋር ተነጋግረን አናውቅም። ፊቱ ቆሜ 'ልጅህን የገደልከው አንተ ነህ' ያልኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ጠዋት ደወለልኝ። 'ና፣ ከመኪናው ሥር አንድ ነገር ላሳይህ፤ ከዚያ በኋላ ብትጠላኝም ግድ የለኝም' አለኝ።»

«ታዲያ ለምን አልገቡም?»

«ኩራት ነዋ! ሞተሩን ሳላጠፋ ቆሜ ቆሜ ተመለስኩ።» ቀና ብሎ አያት። «ምን ነበር ሊያሳየኝ የፈለገው? አንቺ አይተሽዋል?»

«ገና ነኝ።»

ሦስተኛው ተጠያቂ ትሬንት ነው፤ የዌስ የልብ ጓደኛ የነበረና በኋላ የዌስን እጮኛ ያገባ። በአጎራባቹ ከተማ የጃፓን መኪና ይጠግናል። ወሬውን ሰምቶ እጁን እንኳ ሳይታጠብ ነበር የደረሰው። ኢንግሪድ መፍቻውን ስታሳየው ፊቱ ተለዋወጠ።

«የዌስ ነው! ለሞተር ብስክሌቱ የገዛው። ይኸው ጭረቱ። ከየት አመጣሽው?»

«አንተም እንዲህ ያለ መፍቻ አለህ አይደል?»

«መዓት! እንጀራዬ ነው እኮ። ግን እንዲህ ያለውን እዚያ ፒክ አፕ ላይ የሚያሳርፍ ባለሙያ የለም፤ የዳዶውን ጥግ በልቶ ክብ ያደርገዋል።» ትንሽ አሰበና ቀጠለ። «ጋሽ ኤልደን በዚህ ሰሞን ሱቄ መጥቶ ነበር። 'ዌስ በሕይወት ሳለ መሣሪያውን ላንተ ያውስህ ነበር ወይ?' አለኝ። በጭራሽ፣ አልኩት። ሳጥኑ መኝታ ቤቱ ነው የሚቀመጠው። ዛሬም እዚያው ነው፤ እትዬ ቬርና አቧራውን እንኳ ሰው እንዲጠርግ አትፈቅድም።»

«ምን አለህ ያኔ?»

«ምንም። ቆቡን አደረገና ወጣ። ደህና ዋል እንኳ አላለኝም።»

ኢንግሪድ ወደ ጋራዡ ተመለሰች። ኮል መኪናውን በራሳቸው መሣሪያ አንስቶ በአራት መቆሚያ ካስደገፈው በኋላ የእጅ ባትሪዋን ይዛ በጀርባዋ ገባች። ከሥር የቦዩ ደለል ዛሬም በየስንጥቁ ደርቆ ተጣብቋል፤ የሰጠመ ነገር ሽታ አለው። የፍሬን ዘይት የሚያልፍበትን ቀጭን ቧንቧ በዓይኗ ተከትላ ከማያያዣው ዳዶ ዘንድ ደረሰች። ኤልደን ዝገቱን በጥንቃቄ አጽድቶታል። ዳዶው ግን ስድስት ጥግ አልነበረውም፤ ተበልቶ ክብ ሆኗል። የዌስን መፍቻ አስጠጋችው። ጥርሱ የተበላው ቦታ ላይ ቁጭ አለ፤ እንደ እግርና ዱካ።

ፎቶ አንስታው ተንሸራታ ወጣች።

*

በማግስቱ ጠዋት ሦስቱንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ትሬንት ከጠረጴዛው ተደግፏል፤ ሮላንድ ቆቡን በእጁ ይዟል፤ ቬርና ከበሩ አጠገብ ኮል ባመጣላት ወንበር ላይ ናት። መኪናውን ላለማየት ፊቷን ወደ ሜዳው አዙራለች።

«ኤልደን የሞተው በአደጋ አይደለም» ብላ ጀመረች ኢንግሪድ። «ክሪክ ሲንሸራተት ወደ ጎን ይፈናጠራል፤ መኪናውም በአንድ ጊዜ ይዘረገፋል። ይህ ክሪክ ግን ቀጥ ብሎ በቦታው ወርዷል፤ ማስተንፈሻውም ተከፍቷል። የሚከፈተው እጀታውን ወደ ግራ በማዞር ነው። ኤልደን ደረቱ መኪናው ሥር፣ እጆቹ መቆሚያው ላይ ነበሩ። የእጀታው ጫፍ ከእሱ ሩቅ ነው። ያዞረው ሌላ ሰው ነው።»

ሮላንድ ቀና አለ። «ማን?»

«በመጀመሪያ፣ ለምን? ኤልደን መፍቻ በኪሱ ይዞ ነበር። በዚህ መኪና ላይ ሊሠራበት አይችልም። እንግዲያው የያዘው ለሥራ ሳይሆን ለጥያቄ ነው። አንድን ሰው 'ይህን መፍቻ ታውቀዋለህ?' ሊል። ከሥር ያለውን የፍሬን ዳዶ አይቼዋለሁ። ኤልደን ዕድሜውን ሙሉ የዳዶ ጥግ በልቶ የማያውቅ ሰው ነው። እሱ አጥብቆ ያሰረውን፣ ከዌስ ጉዞ በፊት በነበረችው ሌሊት ሌላ ሰው በማይሆን መፍቻ ታግሎ አላልቶታል። ዌስን የገደለው የአባቱ ሥራ አልነበረም።»

ሮላንድ በርከክ አለ። 

«ትሬንት ሙያውን ያውቃል፤ መፍቻ አይሳሳትም። የዌስ መሣሪያ ሳጥንም ከዚህ ቤት ወጥቶ አያውቅም። ደግሞ ትናንት ወሬው እስኪደርሰው ድረስ ደንበኞቹ ፊት ነበር። የሮላንድ የጎማም የእግርም ዱካ ከአጥሩ በር አያልፍም፤ ጭቃው መስክሯል። ቡናውን ተመልከቱ። መኪና ቢዘረገፍ ኖሮ ኩባያው ወለሉ ላይ ተሰባብሮ ይገኝ ነበር። መኪናው የወረደው ዝም ብሎ፣ እንደ ትንፋሽ ነው። ያንን ድምፅ ከወጥ ቤት ቀርቶ ከበሩ ላይም መስማት አይቻልም። መስኮት ያንቀጠቀጠ መብረቅ ሰማሁ ያለኝ ግን አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ማንም ዞሮ አላየም። ወንዶቹ ወለሉን ነበር የሚያዩት።

«የጋለ መጋገሪያ የጣት ጫፍ ያቃጥላል» አለች ኢንግሪድ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «መዳፍዎ ላይ ያለው ብረት አጥብቆ ይዞ የታገለ ሰው ቁስል ነው። ወይዘሮ ቬርና፣ ቡናውን ያመጡለት እርስዎ ነዎት።»

ሜዳው ላይ ነፋሱ ጋብ አለ። ቬርና ፊቷን ከሜዳው ሳታነሳ ተናገረች። ድምጿ የደከመ እንጂ የፈራ አልነበረም።

«ዳዶውን ያላላሁት እንዳይሄድብኝ ብዬ ነው። ልጄ ወደ ሰሜን ሊሄድብኝ ነበር። የፍሬኑ ዘይት ሌሊቱን ፈስሶ ያልቃል፣ ጠዋት ሲረግጠው ባዶ ይሆንበታል፣ ጉዞው ይቀራል፣ አልኩ። አንድ ቀን! አንድ ቀን ባገኝ እለምነው ነበር። ዘይቱ ግን ቀስ እያለ ነው የፈሰሰው። እስከ መስቀለኛው መንገድ ድረስ ያዘለት።»

«እና አባቱ ሲረገም ዝም አልሽ!» ጮኸ ሮላንድ።

«ዝም አልኩ። ዛሬ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ ስል ዓመት ሆነ፤ ከዚያ አፌ ጠፋብኝ። ትናንት ቡና ይዤለት መጣሁ። ሸራውን ከገፈፈ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። መፍቻውን ከኪሱ አውጥቶ አሳየኝ። አልተቆጣም። 'ቬርና፣ አንቺ ነሽ?' አለኝ፤ አዎ አልኩት። መፍቻውን መልሶ ኪሱ ከተተ። 'ሮላንድ ይመጣል፤ ሲመጣ አብረን እንነግረዋለን' ብሎ መቆሚያውን ሊያስገባ ጎንበስ አለ። እንደ ማንኛውም ቀን ሥራውን ቀጠለ! ፊቴ ላይ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ሮላንድ መጣ፣ አገሩ ሁሉ ሰማ ብዬ አሰብኩ... እጀታው እግሬ ሥር ነበር።»

ትሬንት አፉን በመዳፉ ያዘ።

«ወዲያው ነው የተጸጸትኩት» አለች ቬርና። አሁን ወደ ኢንግሪድ ዞራ ነበር። «እመኚኝ። ዓይኑ እያየኝ ነበር። እጀታውን ይዤ ወደ ላይ ወደ ታች፣ ወደ ላይ ወደ ታች፣ መዳፌ እስኪላጥ ድረስ ታገልኩ። አልነሳ አለ። ሲያወርድ ሺህ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ሲያነሳ ግን ልብ ብዬ አላየሁም። ምን ነበር የቀረኝ?»

ኢንግሪድ መልሱን ታውቃለች። ማለዳ፣ ማንም ሳይመጣ፣ ማስተንፈሻውን ዘግታ ክሪኩን ሞክራው ነበር፤ በጥቂት ግፊት ያንን ሁሉ ብረት ያለ ችግር አንስቷል። እጀታው ወደ ቀኝ መመለስ ብቻ ነበረበት። ልትነግራት አፏን ከፈተች።

ሮላንድ ከወለሉ ተነሣ። ክሪኩን አየው፤ እጀታውን አየው። እሱም በቤቱ እንዲህ ያለ ክሪክ አለው። ጉልበቱን አራግፎ ወደ ወንድሙ ሚስት ተጠጋ፤ የተጠቀለሉ እጆቿንም አየ።

«ምንም አልቀረሽም» አላት። «ያ ክሪክ አርጅቷል። ኤልደን ራሱም ቢሆን አያነሳውም ነበር።»

ቬርና ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች። ሮላንድ ቆቡን አጥልቆ፣ ኢንግሪድን ዓይን ዓይኗን እያየ፣ የክሪኩን እውነት ለቬርና እንዳትነግራት በዓይኑ ለመናት። እሷም ኮልን በጥቅሻ ጠርታ፣ አሮጊቷን በክንዷ ደግፋ ወደ ፖሊስ መኪናው ወሰደቻት።