መጽሐፉ የዘለለው ቤት

«‹እናቱም፣ የሚበላ ወንድ እንጂ ደም የሚመልስ ወንድ አልወለድኩም አለችው። ወጣቱ ጉርሻውን ከአፉ አውጥቶ መሬት ላይ ጣለ።›»

ፋንታነሽ ይህን ስታነብ ወንድሟ በላቸው እጁን ከመሶቡ መለሰ። እሷ ግን አላየችውም። ጣቷ ከመስመሩ ሥር እየተንሸራተተ፣ ድምፅዋ እየጋለ፣ ወጣቱ ጫካ ገብቶ የመጀመሪያውን ሰው በጦር ወግቶ ከዛፍ ጋር እስኪያጣብቀው ድረስ ቀጠለች። ምዕራፉ ሲያልቅ ቀና አለች። የሚያደንቃት ሰው ጠብቃ ነበር። ቤቱ ውስጥ የሚሰማው ግን የእናቷ የወይዘሮ የሺእመቤት እንዝርት ብቻ ነበር።

ዕለቱ እሑድ ነው፤ ቦታው ቢቸና፣ ከእህል ገበያው ጀርባ ያለው ቤታቸው። ምሳው ገና ሳይነሣ አጎቷ አቶ ገላው ጠላቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፤ እሳት ሊጭሩ መጥተው እዚያው የቀሩ ሁለት ጎረቤቶችም አሉ። ከእነዚህ ሁሉ ማንበብ የምትችለው ስምንተኛ ክፍል የደረሰችው ፋንታነሽ ብቻ ናት። መጽሐፉ የመምህር ዳባ ነው። መምህር ዳባ ዓርብ ዓርብ ተማሪ ከጃንሆይ ፎቶ ሥር ያቆምና «ምን አነበብክ? ምንስ መሰለህ?» ይላል። ላነበበ ከራሱ ሣጥን ሌላ ልብ ወለድ ያውሳል። በዚህ የተነሳ የሚኒስትሪ ፈተና ደርሶ ሳለ ግማሹ ክፍል ከሒሳብ ይልቅ ስለ ጫካ ሽፍታ ይጨነቅ ነበር።

መምህር ዳባ ከወለጋ የመጣ ሰው ነውና አንድ ነገር አላወቀም። ፋንታነሽ ደግሞ እያወቀች ረሳችው። በዚያ አገር እንዲያው የሚነገር ነገር የለም። ሴት ብትዘፍን ሰው ዞር ብሎ «ማንን ነው?» ይላል። አስለቃሽ ብታለቅስ ከሬሳው ሌላ የምትነካው ሰው ይፈለጋል። ሰምን ትቶ ወርቅ ሲፈልግ ላደገ ጆሮ፣ አንዲት ልጅ ወንድሟ ፊት ቁጭ ብላ «ደም የሚመልስ ወንድ አልወለድኩም» የሚል ስታነብ፣ ለማን እንደተነበበ መጠየቅ እንኳ አያስፈልግም።

አባታቸውን አቶ ውበቴን፣ ፋንታነሽ ገና ሕፃን ሳለች፣ ይርሳው የሚባል ሰው በእርሻ ድንበር ጠብ በጩቤ ገድሎታል። ይርሳው ታሰረ። ዘንድሮ በምሕረት ተፈትቶ ሞጣ ገባ፤ ገበያ በዋለ ቁጥር እህል ይዞ ይወጣል ይባላል። በላቸው ይህን ከሰማ ወዲህ፣ ደም እንዳለበት ሰው፣ ጸጉሩን አልተቆረጠም። ከዚያ በላይ ግን ምንም አላደረገም። እናትየውም አንድ ቀን ስሙን አንስተው አያውቁም።

አቶ ገላው ዋንጫቸውን አስቀመጡ። «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» አሉ። «ሴት ልጅ ተናገረች። ከእንግዲህ ወንዱ ያውቃል።»

ፋንታነሽ ደነገጠች። «ኧረ አጎቴ፣ መጽሐፍ እኮ ነው። ደራሲው ፈጥሮ የጻፈው ነው።»

«የፈጠረውስ ለምን ፈጠረው?» አሉ አቶ ገላው።

በላቸው ተነሥቶ፣ ከግድግዳው ምንሽሩን አውርዶ፣ ደጅ ወጣ። ጎረቤቶቹም ሊጭሩት የመጡትን እሳት ረስተው ወሬውን ይዘው ሄዱ።

በማግስቱ በዕረፍት ሰዓት ከትምህርት ቤቱ ባሕር ዛፎች ሥር ኸይራት ትጠብቃት ነበር። ኸይራት የሞጣ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ቢቸና አጎቷ ሐምዱ ዘንድ ሆና ትማራለች። ሁለቱ አንድ መጽሐፍ ተራ በተራ አንብበው ሳይጣሉበት ለመምህር ዳባ መልሰው አያውቁም።

«ጨረስሽው?» አለች ኸይራት።

«መጨረሻው ቀረኝ። እንዴት ያለ መጽሐፍ ነው፤ ጦሩ ሲገባ እኮ ድምፁ ይሰማል።»

«እኔ አልወደድኩትም።»

«አንቺ ደግሞ ምን ትወጃለሽ?»

«ገዳዩ ሲመለስ ሦስት ገጽ ሙሉ ይፎክራል። የሞተው ሰውዬስ? አንድ ቃል። ‹ወደቀ› ይልና ያልፋል።»

«ሞተ አይደለም እንዴ? ከዚህ በኋላ ምን ይጻፍለት?»

ኸይራት ቀስ ብላ ተናገረች። «አምና ክረምት አባቴ ሱቅ ደጃፍ ላይ አንዱን ሰው በመጥረቢያ መቱት። እዚህ ጋ ነው» አለች አንገቷን ነክታ። «ከልጁ ጋር ነበር፤ የታናሽ እህቴ እኩያ ትሆናለች። ሲወድቅ ጫማው ወለቀ። ልጅቱ አላለቀሰችም። ጫማውን ልታደርግለት ትታገላለች፤ እግሩ እንቢ ሲላት ትቆጣዋለች። ‹አባባ፣ ዘርጋው እንጂ› ትለዋለች። አባቴ ደሙን አመድ ሲያለብስ ዋለ። እስከ ማግስቱ ድረስ ውሻ ስናባርር ነበር። የገደለው ሰው ይህን ሁሉ አላየም፤ እየፎከረ ሄዷል። ደራሲሽም አብሮት የሄደ ይመስለኛል።»

ፋንታነሽ የትናንቱን ነገረቻት፤ ምንሽሩን፣ የአጎቷን ተረት፣ ጎረቤቶቹን።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጠላ ቤቱ ደጃፍ ሰው ተሰብስቦ አገኘች። በትከሻዎች መካከል አጮልቃ ስታይ፣ አንድ ጎልማሳ አፉን በሁለት እጁ ይዞ መሬት ላይ ይንፈራገጣል፤ በጣቶቹ መሐል ደም ይወርዳል፤ አገጩ ከቦታው ተንሸራቷል። በላቸው ከበላዩ ዱላውን እንደ ያዘ ቆሟል። ሰዎች ባይጎትቱት ይደግመው ነበር። ሰውየው ጠላ ሞቅ አድርጎት «እህትህ ከመጽሐፍ ባታነብልህ አባት እንደነበረህም ትዝ አይልህ» ብሎት ኖሯል። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የዚያ ሰው አፍ ግን ያመለጠው ከሁለት ጥርሶቹ ጋር ነው።

በላቸው እህቱን አያት። ተቆጥቶ ቢሆን ትፈራው ነበር። ፊቱ ግን የደከመው ሰው ፊት ነበር፤ ይህም የባሰ አስፈራት።

«ነገ የቀረውን ታነቢዋለሽ» አላት ቤት ሲደርሱ። «ማግስቱን መንገድ እንገባለን። ለገበያው ሞጣ እንደርሳለን።»

«ወንድምዓለም፣ እኔ እኮ ላንተ ብዬ አላነበብኩም።»

«ለማን አነበብሽው ታዲያ? ለግድግዳው ነው?»

ፋንታነሽ በማግስቱ ቀኑን ሙሉ አንድ ነገር ስታሰላስል ዋለች። መጨረሻውን ብትለውጠውስ? ሽማግሌ ቢገባ፣ ገዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ እግር ላይ ቢወድቅ፣ ቢታረቁስ? ማን ያውቅባታል? ፊደሉን ለይቶ «ዋሸሽ» የሚላት ሰው እዚያ ቤት የለም። ግን ቢነቁባትስ? ፈርታ ነው ማለት ይሆናል፤ ፈሪ እህት ደግሞ ወንድሟን ፈሪ ታሰኛለች። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ከእነሱ ጋር ኖራለችና ይህ አይጠፋትም።

ከሰዓት በኋላ ቤቱ ሞልቶ ጠበቃት። መደቡ ሞልቶ የቀረው በረንዳ ላይ ቆሟል። አነበበች። አልለወጠችም። ወጣቱ የአባቱን ገዳይ ወንዝ ዳር አገኘው፤ ሳንጃውን እስከ እጀታው ሰደደበት፤ ጎትቶ ደገመው። አቶ ገላው ተነሥተው ዘራፍ አሉ፤ በረንዳው ተቀበላቸው። አንዱ በዱላው ወለሉን ደበደበ። ከዚያ ‹ወደቀ› የሚለው ቃል መጣ፤ ቀጥሎም ሦስቱ ገጽ ፉከራ። ፋንታነሽ ፉከራውን ዘለለችው። ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሳ፣ ያልተጻፈ ነገር ታነብ ጀመር።

«‹የሟች ልጅ አጠገቡ ነበረች። ጫማው ወልቆ ነበርና አንስታ ልታጠልቅለት ሞከረች። አባባ፣ እግርህን ዘርጋው እንጂ አለችው። ደሙ ቀሚሷን አልፎ ጉልበቷ ድረስ አራሳት። ሞቅ ይል ነበር። ውሾች መጡ፤ በጫማው አባረረቻቸው…›»

ፉከራው ቀስ በቀስ ሞተ። የእናቷ እንዝርት ቆመ።

በላቸው ወደ ፊት ጎንበስ አለ። «ይህ እዚያ ተጽፏል?»

«አዎ» ብትል ያምናት ነበር። ምናልባትም ቤት ይቀር ነበር። ግን ፊቱን አየችውና መዋሸት አቃታት።

«አልተጻፈም» አለች። «እኔ ነኝ የጨመርኩት። ደራሲው ትቶት ነው እንጂ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚሆነው።»

ጥፊው ሲያርፍባት መደቡ ላይ ተገለበጠች። ጆሮዋ ጮኸ፤ አፏ ጨው ጨው አለ። በላቸው መጽሐፉን ነጥቆ ምድጃው ውስጥ ከተተው። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሽፋኑ ተጠቅልሎ ሲነድ ሁሉም ያየዋል።

ያን ጊዜ ወይዘሮ የሺእመቤት ተናገሩ። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነበር። «አባታችሁ ጫማ አልነበረውም» አሉ። «እኔ መቀነቴን ነው ያሰርኩለት። ሆዱ ተዘርግፎ ነበር፤ መልሼ፣ መልሼ ከትቼ፣ መቀነቴን ጠበቅ አድርጌ አሰርኩለት። ሳጠብቀው ‹አመመኝ› አለኝ። አላላሁለትም። የሚነሣ መስሎኝ ነበር። አንተን ገላው ጎረቤት ወስዶህ ነበርና አላየህም፣ ልጄ።»

እናቷ ይህን ሁሉ ዘመን ይህን ይዘው ነው የኖሩት። በላቸው ለአፍታ፣ ለአንድ አፍታ ብቻ፣ የሚያለቅስ መሰለ።

አቶ ገላው ግን እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣሉ። «ሰማህ?» አሉት። «እናትህም ተናገረች።»

በረንዳው አጉረመረመ። «ተናገረች፣ ተናገረች» ተባባለ። የወይዘሮ የሺእመቤት እንዝርት ከእጃቸው ወድቆ ተንከባለለ። ፋንታነሽ ያን ጊዜ ተረዳችው፤ እዚያ ቤት ምንም ቢነበብ፣ ምንም ቢባል፣ የሚሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሌላ ቃል ብትፈልግም አታገኝም። ጉንጯ ይነዳል፤ ንዴቷ ግን ከጉንጯ ይበልጥ ነበር።

ጎህ ሲቀድ በላቸውና አቶ ገላው በሁለት በቅሎ ወጡ። ኮቴው ከራቀ በኋላ ፋንታነሽ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ በሩ ሄደች።

«ወዴት ነው?» አሉ እናቷ።

«ኸይራት ዘንድ ነው፣ እምዬ።»

ወይዘሮ የሺእመቤት ያበጠውን ጉንጯን አዩት። የሐምዱ መኪና ዛሬ እህል ጭኖ ሞጣ እንደሚሄድ ገበያተኛው ሁሉ ያውቃል፤ እሳቸውም ያውቃሉ። ሄደው ጋቢያቸውን አመጡና አለበሷት። «ጭነት ላይ ነፋሱ ክፉ ነው» አሉ።

መኪናው ሞተሩ እየነዘረ ቆሟል። ኸይራት ወሬውን ሁሉ ሰምታ ቀድማ ወጥታ ነበር፤ እሷም እናቴን ልጠይቅ ልሂድ ብላ አጎቷን አስፈቅዳለች።

«ይርሳውን ልታስጠነቅቂው ነው?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ካወቀ እሱም ጠብመንጃ ይይዛልኮ። ወንድምሽን ቢገድለውስ?»

«ለእሱ አልነግርም። ሚስቱ ናት የምፈልጋት። ነገ ገበያ እንዳይወጣ ምን ብላ እንደምታስቀረው እሷ ታውቃለች። ከዚያ እዚያው ከአገር ሽማግሌ እግር ላይ እወድቃለሁ። የውበቴ ልጅ ናት የለመነችን ይበሉ።»

«ቤታቸውን አውቀዋለሁ፤ ጨው ከእኛ ነው የምትወስደው።» ኸይራት ከንፈሯን ነከሰች። «የአባቷን ደም የሸጠች ይሉሻል፣ ፋንታዬ። እስክታረጂ ድረስ ይሉሻል። በላቸውም ይሰማል።»

«ይስማ።»

«እንደ ትናንቱ በጥፊ የሚተውሽ ይመስልሻል?»

ፋንታነሽ ከትናንት ወዲያ ጠላ ቤት ደጃፍ ያየችው አገጭ ትዝ አላት። ፈርታለች፤ ፍርሃቷንም ለኸይራት መደበቅ አልፈለገችም። ሁለት እጇን የመኪናው ሣንቃ ላይ አሳረፈች፤ እንጨቱ በብርዱ ይቆረጥማል።

«አይተወኝም» አለች። «ግን እኔን ቢመታኝ እነሣለሁ።»

ጎማውን ረግጣ ወጣች፤ ከጆንያዎቹ መካከል ቦታ አበጅታም ለኸይራት እጇን ዘረጋችላት።