በኪስ ውስጥ ያደረው ውጤት

በመሥሪያ ቤት ደጃፍ የቆመ ባለጉዳይ ሁሉ አንዲት መልስ ያውቃል፦ «ማኅተሙን የያዘው ሰው ስብሰባ ላይ ነው።» ይህች መልስ ለብዙ ዘመን በወረቀት ሥራ ላይ ስትኖር ቆይታ፣ ዛሬ ወደ ኮምፒውተሩም ገብታለች። ምን እንደምታስከትል ከዚህ ታሪክ እንመልከት።

አቶ መርሻ በጂንካ የእንስሳትን በሽታ በሚከታተል አንድ መሥሪያ ቤት የመረጃ ክፍል ኃላፊ ናቸው። ጠንቃቃና ሥራቸውን አክባሪ ሰው ናቸው። ከወረዳዎች የሚላኩ ናሙናዎች ውጤት ናሙናዎቹን በሚመረምረው ላቦራቶሪ ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፤ ያንን ፋይል በየማለዳው የሚያወርዱት እርሳቸው ነበሩ። ሰርቨሩ በስምና በይለፍ ቃል ብቻ አይከፈትም። ጠያቂው ኮምፒውተር ማንነቱን የሚያረጋግጥ ዲጂታል ሰርተፍኬት ካላቀረበ በሩ ይዘጋበታል። አቶ መርሻ ይህን ሰርተፍኬት ከነምስጢር ቁልፉ በፍላሽ ይዘው በኮታቸው የውስጥ ኪስ ያኖሩት ነበር። ባልደረቦቻቸው «ቢሯችን ያለው በጋሽ መርሻ ኮት ውስጥ ነው» እያሉ ሲቀልዱ፣ እርሳቸው ቀልዱን እንደ ምስጋና ይቀበሉት ነበር።

የኮምፒውተር ባለሙያዋ ሐቢባ ወደ መሥሪያ ቤቱ ተዛውራ እንደ መጣች ሥራው ያለ ሰው እጅ ሊከናወን እንደሚችል አስረዳች። ለቢሮው ሰርቨር የራሱ ሰርተፍኬት ከላቦራቶሪው ይጠየቃል፤ የምስጢር ቁልፉ በዚሁ በቢሮው ሰርቨር ላይ ተፈጥሮ ከዚያ አይወጣም፤ በየንጋቱም አንድ አጭር ፕሮግራም ፋይሉን ያወርዳል። አቶ መርሻ በትዕግሥት አዳመጧት።

«ሐቢባ፣ ለማሽን የተሰጠ ቁልፍ ሌባ ሲመጣ አይጮኽም» አሏት።

«ኪስስ ይጮኻል እንዴ፣ ጋሽ መርሻ?»

ቢሮው ሳቀ። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ወይዘሮ ወሰንየለሽ ግን ሁለቱን ላለማስቀየም ሲሉ ጉዳዩን ለሌላ ጊዜ አሳደሩት።

በዚህ መካከል በወይጦ አካባቢ ፍየሎች ማሳል ጀመሩ። ጉታ የሚባል የፀማይ አርብቶ አደር ለልጁ ጋብቻ ጥሎሽ የሚሆኑ ፍየሎችን ከዘመዶቹ አሰባስቦ ከራሱ መንጋ ጋር ሊቀላቅል ተዘጋጅቶ ነበር። የእንስሳት ሐኪሙ እውነቱ ከመጤዎቹ ናሙና ወሰደና ውጤቱ እስኪደርስ ለየብቻ እንዲያቆያቸው መከረው፤ እንደሚደውልለትም ቃል ገባ። ጉታ ምክሩን አከበረ። በበጋ ሁለት መንጋ ለየብቻ ማሰማራትና ማጠጣት ቤተሰቡን ሁሉ የሚያደክም ሥራ ነበር፤ ሆኖም ስልኩን እየጠበቀ ታገሠ።

ውጤቱ በላቦራቶሪው ሰርቨር ላይ ሲቀመጥ አቶ መርሻ ለስልጠና አርባ ምንጭ ነበሩ፤ ፍላሹም አብሯቸው ነበር። እውነቱ ማለዳ ማለዳ ወደ ቢሮው ብቅ እያለ ይጠይቃል፤ የአቶ መርሻ ስልክ ተዘግቶ ይውላል። ላቦራቶሪው ደግሞ ውጤት በቃል እንደማይሰጥ አሳወቀ። በመጨረሻ ስልኩ ሲነሣ አቶ መርሻ ደንግጠው፣ ወደ ኢንተርኔት ቤት ገብተው ሰርተፍኬቱን ከነይለፍ ቃሉ በቴሌግራም ሊልኩላት እንደሚችሉ ለሐቢባ ነገሯት።

«አይሆንም፣ ጋሼ» አለች። «ፍላሹ በማይታወቅ ኮምፒውተር ላይ ከተሰካ ቅጂው እዚያው ሊቀር ይችላል። ከዚያ በኋላ ማንም በእኛ ስም ይገባል። ይልቅ እርስዎ ይምጡ።»

በማግሥቱ በመጀመሪያው አውቶቡስ መጡ። ፍላሹን ሰኩ፤ ፋይሉ ወረደ። የፍየል ሳምባ በሽታ ነበር። እውነቱ ወዲያው ደወለ፤ ዳሩ ግን ጉታ መንጋዎቹን ቀላቅሎ ነበር። «ክፉ ቢሆን ኖሮ ይነግሩኝ ነበር» ብሎ ዝምታውን እንደ መልካም ዜና ቆጥሮታል። ከጥሎሹም ከራሱም መንጋ ብዙ ፍየል አለቀ፤ የልጁም ሠርግ ተሰረዘ።

ጉታ ጂንካ ድረስ መጥቶ በአቶ መርሻ ጠረጴዛ ፊት ቆመ።

«ዶክተር ለይ አለኝ፣ ለየሁ። ጠብቅ አለኝ፣ ጠበቅሁ። ወሬው መጥቷል ይላሉ። የት አደረ?»

አቶ መርሻ ስልጠናውን ወይም ኔትወርኩን ሊጠቅሱ ይችሉ ነበር። «ኪሴ ውስጥ» አሉ።

«ከማን ደብቀህ?»

 ጉታ ከሄደ በኋላ አቶ መርሻ ሐቢባን አስከትለው ወደ ወይዘሮ ወሰንየለሽ ክፍል ገቡና ሰርተፍኬቱ ለሰርቨሩ እንዲጠየቅ ራሳቸው አመለከቱ። ኃላፊዋም በዚህ ጊዜ ሳያሳድሩ ፈረሙ።

ጠንቃቃነታቸው ግን አልጠፋም፤ ቦታውን አገኘ እንጂ። መብራት ቢጠፋስ? ፋይሉ ተቆርጦ ቢደርስስ? የሰርተፍኬቱ ዘመን ሳይታወቅ ቢያልቅስ? እያሉ ሐቢባን ፋታ ነሷት። ስለዚህም ፕሮግራሙ መስመር ሲቋረጥ ደጋግሞ እንዲሞክር፣ የፋይሉን ሙሉነት እንዲያረጋግጥ፣ ያልተሳካለትንና የሰርተፍኬቱ ዘመን ሊያልቅ መቃረቡን ለሁለት ሰዎች እንዲያስታውቅ ሆነ። ቁልፉን ከፕሮግራሙ በቀር ማንም እንዳያነበው ተደረገ፤ በፍላሹ ላይ የነበረው አሮጌ ሰርተፍኬትም ተሰረዘ።

በተከታዩ በጋ አቶ መርሻ የዓመት ዕረፍት ላይ ሳሉ የሌላ ቀበሌ ውጤት ጎሕ ሲቀድ ወረደ፤ ያው የፍየል ሳምባ በሽታ ነበር። እውነቱ ወደ ካኮ ገበያ የሚነዱትን ፍየሎች ከመንገድ አስመለሰ፤ ከሞት የተረፈው የጉታ መንጋም በጊዜ ተከተበ።

ወገኖች ሆይ፣ አደራን መጠበቅ አንድ ነገር ነው፤ አደራን ለባለቤቱ ማድረስ ሌላ። ምስጢርን በየሜዳው መበተን ጥፋት እንደሆነ ሁሉ፣ ሥራን በአንድ ሰው መኖርና አለመኖር ላይ ማንጠልጠልም ጥፋት ነው። አቶ መርሻ ዛሬ የወረዳ ባለሙያዎችን ሲያሠለጥኑ በቅድሚያ የሚጠይቁት፣ «ነገ ከሥራ ብትቀሩ የሚጎዳው ማን ነው?» ብለው ነው። መልሱን ሳይጠብቁም የጉታን ስም ይናገራሉ።