የቻንግገን ትርታ

ቻንግገንን የተዋወቅሁት መራራ ብርቱካኑን አልቀበልም ብዬው ነው።

የገበሬው እርሻ ከማኅበሩ ወጥቶ ለየቤተሰቡ በተከፋፈለ በሁለተኛው ዓመት ነበር። እኔ ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። አባቴ፣ ሐኪም ኒዬ፣ በከተማችን ጤና ጣቢያ ትርታ አዋቂ ነበሩ፤ ሦስት ጣታቸውን በሰው የእጅ አንጓ ላይ አሳርፈው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ የውስጥ በሽታን የሚናገሩ። እኔ በጓሮ በኩል ባለው ክፍል የመድኃኒቱን ሥርና ቅጠል እከትፋለሁ፣ አሰጣለሁ፣ እመዝናለሁ። ገበሬ ያመጣውን መርምሬ የምቀበለውም እኔ ነኝ።

ከተራራው መንደር ሁለት ጆንያ በቀርከሃ ሸክም አንጠልጥሎ መጣ። አንዱን ፍሬ ሰንጥቄ አየሁትና ዘግይቶ የተለቀመ ነው፣ ልጡ ሳስቷል፣ ለመድኃኒት አይሆንም አልኩት። አልተከራከረኝም። ጆንያው ላይ ቁጭ ብሎ ውኃ ለመነኝና ቀስ ብሎ ጠጣ።

«እንዲያው ለማወቅ ያህል» አለ ኩባያውን እየመለሰ፣ «ለመድኃኒት ካልሆነ ለምን ይሆናል?»

«ለምንም።»

«እንግዲያው እንደኔው ነዋ።»

ሳቄን ለመደበቅ ወደ ሚዛኑ ዞርኩ። በሳምንቱ በጊዜው የተለቀመ ፍሬ ይዞ መጣ። በሦስተኛው ሳምንት ባዶ እጁን መጣ፤ እኔም ምን ይዘህ መጣህ ብዬ አልጠየቅሁትም።

ያን መኸር በወንዙ ማሻገሪያ ጀልባ ላይ እንገናኝ ነበር። ተሻግረን ሳንወርድ እንመለሳለን፤ ቀዛፊው እስኪሰለቸን ድረስ። ሃያ አምስት ዓመቱ ነው፤ ከእናቱ ጋር ብቻ ይኖራል። ስሙን ያወጡለት አያቱ ናቸው፤ «ረጅም ሥር» ማለት ነው፤ የቤቱ ወንዶች በወጣትነታቸው ስለሚቀጩ። ይህንንም እየሳቀ ነበር የነገረኝ። አንድ ቀን የጭነት ጀልባ አልፎ ማዕበሉ ሲያናውጠን እጄን ያዘኝ። ማዕበሉ ጸጥ ካለ በኋላም አልመለሰልኝም።

ሽማግሌ ይዞ ቤታችን የመጣው የብርዱ ወራት ሊገባ ሲል ነው። አውራ ዶሮና ሁለት ጠርሙስ የሩዝ ጠጅ አመጣ። አባቴ ሻይ ቀዱለት። አባትህ በስንት ዓመቱ አረፈ ብለው ጠየቁት፤ በሠላሳ ስድስት አለ። አጎትህስ? በሠላሳ አራት። አባቴ የበሽተኛ እጅ የሚያሳርፉባትን ትንሿን ትራስ ጠረጴዛው ላይ አደረጉና እጁን ለመኑት።

ነውር አልነበረም። አባቴ ፊት የተቀመጠ ሁሉ፣ ሰው ለሰላምታ እንደሚዘረጋው እጁን ይዘረጋላቸው ነበር። ግራውን ያዙ፣ ቀኙን ያዙ፣ ደግሞ ወደ ግራው ተመለሱ። ሻዩ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ ዶሮውን አመስግነው፣ እናስብበታለን ብለው ሸኟቸው።

በማግስቱ ጠዋት ከአጠገቤ መጥተው ተቀመጡ።

«ትርታው የሸረሪት ድር ነው» አሉኝ። «ሁለቱም እጁ። ላዩ ወጣት ነው፣ ውስጡ አልቋል። ሦስት ዓመት፣ ቢበዛ አራት።»

«አባባ፣ ተሳስተው ቢሆንስ?»

አልተቆጡኝም። «ምነው በሆነ» አሉ። «እናትሽን ስቀብር አንቺ የአራት ዓመት ልጅ ነበርሽ። ያንን ኑሮ ለጠላቴ አልመኝም፤ እንኳን ላንቺ።»

አባቴ ውሸት የማያውቁ ሰው ነበሩ። ስለዚህ አመንኳቸው።

በእኛ ሙያ እንዲህ ያለው ነገር ለበሽተኛው አይነገርም፤ ለቤተሰቡ ነው የሚነገረው። እኔ ደግሞ ገና ቤተሰቡ አልሆንኩም። ስምንት ቀን ይዤው ዞርኩ። እሱ ፊቴን እያየ ምን ሆነሻል ይለኛል፤ እኔ ምንም እለዋለሁ። በስምንተኛው ቀን በጠራራ ፀሐይ፣ ወደቡ ላይ፣ ሰው ቅርጫትና አሳማ ተሸክሞ በሚጋፋበት መሃል ነገርኩት።

መጀመሪያ ሳቀ። ጠዋት አንድ ኩንታል ተሸክሞ ተራራውን እንደወረደ ነገረኝ። ከዚያ ፊቴን አየና ሳቁን ተወው። እጅጌውን ጠቀለለ።

«አንቺ ያዥው» አለኝ። «የሳቸው ልጅ አይደለሽ? ትንሽ ትንሽ ታውቂያለሽ።»

አውቅ ነበር። አባቴ ከዐሥራ ስድስት ዓመቴ ጀምሮ መጀመሪያ መጀመሪያውን አስተምረውኛል። ግን እጆቼን የጥጥ ካፖርቴ እጅጌ ውስጥ ከተትኳቸው። ነክቼው የሸረሪቱን ድር ካገኘሁ አለቀ። ካልነካሁት ግን ምናልባት የምትል ነገር ትቀራለች። እንዲህ ነበር ያሰብኩት፤ ሐሳብ ከተባለ።

ክንዱን እንደዘረጋ ቆመ። ጀልባው መጣ፣ ሰው ጫነ፣ ሄደ። ክንዱ እንደተዘረጋ ነው። በመጨረሻ እጅጌውን አውርዶ ቆለፈው።

«ገባኝ» አለ።

ምን እንደገባው አልጠየቅሁትም።

ወር ሳይሞላው ወደ ሩቁ ሰሜን ምዕራብ፣ የባቡር ዋሻ ወደሚቆፈርበት አገር ሄደ። ይህንን የሰማሁት ገበያ ላይ ካገኘኋት እናቱ ነው። ደብዳቤ አልጻፈም፤ እኔም አልጻፍኩም። በአራተኛው ዓመት፣ የሙታን መታሰቢያ ቀን፣ ማንንም ደፍሬ ሳልጠይቅ፣ ከከተማው ወጣ ብዬ ለሞተ ሰው የሚቃጠለውን የወረቀት ገንዘብ አቃጠልኩለት። በዚያው ዓመት አንድ የትምህርት ቤት መምህር አገባሁ። አባቴ የሱንም ትርታ ይዘው፣ ይሄ ሰማንያ ዓመት ይኖራል ብለው ደስ አላቸው። ባሌ መልካም ሰው ነበር። በአርባ ዘጠኝ ዓመቱ የጭነት መኪና ገጭቶ ገደለው።

ቻንግገን ከሄደ በኋላ አባቴ ትርታን በደንብ አስተማሩኝ። ሊያጽናኑኝ ይመስለኛል። ዘጠኝ ዓመት አስተምረውኝ ሞቱ፤ በጠረጴዛቸው ተቀመጥኩ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ዝናቡ ሳያባራ በሰነበተበት አንድ ጠዋት፣ ቀና ሳልል ቀጣዩን በሽተኛ «ስምዎ?» አልኩት።

«ሺዮንግ ቻንግገን።»

ብዕሬ ቆመ። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል። ቀኝ ጆሮውን ወደኔ አዙሮ ነው የሚያዳምጠው፤ ግራው አይሰማም። ያስለዋል፤ ሌሊት እንቅልፍ የለውም። ጡረታ ወጥቶ ወደ መንደሩ ከተመለሰ ሁለት ወሩ ነው። ሚስቱ ጎትታ እንዳመጣችው ነገረኝ፤ እሱ ወደ ትልቁ ሆስፒታል እንሂድ ብሏት ነበር፣ እሷ ግን የትርታ ሐኪሟን ዝና ሰምታ እምቢ አለች። ወረፋው ሲረዝምባት ዳቦ ልትገዛ ወጥታለች። ጠረጴዛው ጋ ማን እንደተቀመጠ እያወቀ መምጣቱ ገባኝ።

«እጅዎን ይስጡኝ» አልኩት።

ሦስት ጣቴን አሳረፍኩ። ምንም የለም። ጠንከር አድርጌ ስጫን፣ ከሥር፣ የሸረሪት ድር። ቀኝ እጁም እንደዚያው ነው። አባቴ ያገኙት ይኸው ነው፤ ሰውዬው ግን በሃምሳ ስድስት ዓመቱ ፊቴ ተቀምጦ ይተነፍሳል። ከዚያ ለማንም የማደርገውን አደረግሁ። እጁን ገለበጥኩት።

ትርታው ከአንጓው ጀርባ፣ ከአውራ ጣቱ ሥር ነበር። ሙሉ ነው፣ ብርቱ ነው፤ ጡት እንደሚጎሽም ጥጃ ጣቴን ይገፋዋል።

ከብዙ መቶ ሰው መካከል አንዱ እንዲህ ሆኖ ይወለዳል። ደም ሥሩ ዞሮ በእጁ ጀርባ በኩል ያልፋል፤ በውስጥ በኩል የሚቀረው ጭላጭ ብቻ ነው። በሽታ አይደለም። ይህንን ያስተማሩኝ እራሳቸው አባቴ ናቸው፤ ቻንግገን በሄደ በሁለተኛው ክረምት፣ በሌሎች ሁለት ትምህርቶች መሃል። «ከውስጥ ካጣሽው ገልብጪው» ብለውኝ ወደሚቀጥለው አለፉ። ማንንም አላስታወሳቸውም። እኔንም ማንንም አላስታወሰኝም። በሽምግልናው ቀን ልጃቸውን ሊወስድ የመጣ ሰው ፊታቸው ተቀምጦ፣ በወጣትነታቸው የሞቱ ሁለት ሰዎችን ቆጠረላቸው፤ ጣታቸውም ጆሯቸው የሰማውን አገኘ።

«ለምን ገለበጡት?» አለኝ።

ነገርኩት። ምንም ሳላስቀር፣ ወደሚሰማው ጆሮው ዝቅ ብዬ።

ከዚያ እሱም ነገረኝ። የመጀመሪያዎቹን አራት ዓመታት እንደተፈረደበት ሰው ኖሯል። ፈንጂ ሳይፈነዳ ሲቀር ማን ገብቶ ይየው ሲባል፣ እሱ ነበር የሚገባው፤ ምን ይቀርብኛል ብሎ። ጆሮው የጠፋው እንደዚያ ነው። በአምስተኛው ዓመት አንድ ጠዋት ፊቱን እየታጠበ ሳለ እንደማይሞት ገባው። እዚያው ቁጭ ብሎ አባቴን መጥላት ጀመረ። የተራራ ገበሬ ለልጃቸው አልመጥን ሲላቸው ሞት ፈጠሩልኝ አለ።

«አንቺም የምታውቂ መስሎኝ ነበር» አለ። እርስዎ መባባሉ ሳናውቀው ቀርቷል። «እጄን ያልነካሽው ለዚህ ነው ብዬ። ከነካሽው መዋሸት ይኖርብሻል፤ አንቺ ደግሞ መዋሸት አይሆንልሽም።»

«ፈርቼ ነው።»

«ምኑን?»

«እውነት እንዳይሆን።»

እጁ አሁንም ትራሷ ላይ ነው። ጣቶቼም አልተነሡም። ትርታው ፈጥኖ ነበር፤ ይህንን ማወቄ አሳፈረኝ።

«ታዲያ ማንም አልዋሸኝም?»

«ማንም።»

«ቢዋሹኝ ይሻለኝ ነበር» አለ። «ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በሳቸው ተናድጄ ኖሬያለሁ። አሁን በማን ልናደድ?»

በሩ ተከፈተና ሚስቱ ገባች፤ ዝናቡ አበስብሷታል፣ ትኩስ ዳቦ በፌስታል ይዛለች። ደማቅ ሴት ናት፤ ንግግሯ የሰሜን ነው። ጣቶቼን አነሣሁ።

«እህቴ፣ ትርታው ምን አለ?» አለችኝ።

ሳሉ ከዋሻው አቧራ የቀረ ነው፣ ቀስ በቀስ ይለዝባል አልኳት። ሌላው ጤነኛ ነው፣ ገና ብዙ ይኖራሉ።

ትከሻውን መታ መታ አደረገችው። «እንድንጋባ ሲጠይቀኝ ምን ብሎኝ እንደነበር ታውቂያለሽ?» አለችኝ እየሳቀች። «የዋሻው ሠራተኞች ወጥ ቤት ነበርኩ። መጣና፣ የቀረኝ አንድ ዓመት ነው፣ አስቢበት አለኝ። ምኑን አስብበታለሁ? አንዱን ዓመት አብረን እንብላው አልኩት።»

እሱ መስኮቱን ያያል። እኔ መድኃኒቱን እጽፋለሁ። ሰባት ዓይነት ሥርና ቅጠል ጻፍኩ፤ አንዱን ሁለት ጊዜ ጽፌው ሰረዝኩት። እንዴት እንደሚፈላ ነገርኳት፤ ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ በኋላ። እንዳትረሳው ደግማ አለችው። ዳቦም ሰጠችኝ፤ ተቀበልኳት።

እሷ ቀድማ ወጣች። እሱ እጅጌውን ቆልፎ ተነሣ። በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ፤ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ አንገቱን ትንሽ ዘወር አድርጎ፣ የሚሰማው ጆሮ ወደኔ እንዲሆን። ጠበቀ። ውጭ ያሉት ሰዎች ጥላቸውን ሲያራግፉ ይሰማኛል።

የምለውን አውቀው ነበር፤ በኔ ተናደድ። አፌን ከፈትኩ፤ ግን ትራሷን ብቻ አቃናሁ።

ሚስቱ ከደጅ ጠራችው። ወጣ።