ፍሪዘር የገባው አበባ

የእንስሳት ሐኪሙ አበባውን ሲሰጣት በሁለት እጇ ተቀበለችው። አመሰገነችና በጋዜጣ ጠቅልላ ፍሪዘር ውስጥ ከተተችው።

ከዚያ እስክሪብቶና ቅጽ አንሥታ ከየት እንደተቆረጠ ጠየቀችው።

«ከእናቴ አጥር» አለ፣ ዓይኑን ከፍሪዘሩ ሳይነቅል።

«ቁመቱስ ምን ያህል ይሆናል?»

«የእናቴ?»

«የቁጥቋጦው።»

እስከ ትከሻው እንደሚደርስ በእጁ አሳያት። እሷም አንድ ሜትር ከሃምሳ ብላ ጻፈች። ቀኑን፣ የአበባውን ቀለም፣ የሰብሳቢውን ስም ጨመረች። «ለምን እንደመጣ» በሚለው መስመር ላይ «ስሙ እንዲታወቅ» ብላ ሞላችና ውጤቱ በሁለት ሳምንት እንደሚደርስ ነገረችው። ሐኪሙ እሺ ብሎ ወጣ።

እሷም አይፈረድባትም። ሄርባሪየም በሚሉት በዚያ ክፍል ውስጥ ስትሠራ አራት ዓመቷ ነው። በብረት ቁም ሣጥኖች ውስጥ ስልሳ ሺህ የደረቁ ዕፅዋት፣ እያንዳንዳቸው በወፍራም ወረቀት ላይ ተለጥፈው፣ በየወገናቸው ተደርድረዋል። የክፍሉ የመጀመሪያ ሕግ ደግሞ አንድ ሳምንት ፍሪዘር ያላደረ ነገር በሩን አያልፍም የሚል ነው። ከሰሊጥ ፍሬ የማትበልጥ ነቀዝ ከአንድ እርጥብ አበባ ጋር ከገባች የመቶ ዓመት ልፋት ዱቄት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ሰው አበባ ይዞ ሲመጣ እጇ ወደ ፍሪዘሩ የሚሄደው ሳታዘው ነው። ለእሷ ብሎ አበባ ያመጣ ሰው ደግሞ ከዚያ በፊት አልነበረም። እናቷማ «ከደረቀ ነገር ጋር ስትውዪ አንቺም እንዳትደርቂብኝ» ትላታለች።

ከሐኪሙ ጋር የተዋወቁት ከዚያ አምስት ሳምንት ቀደም ብሎ ነው። ክዳኑ በፕላስተር የታሸገ ብልቃጥ ይዞ መጣና፣ ሽታው ደስ እንደማይል አስቀድሞ ይቅርታ ጠየቀ። አንድ ገበሬ በሦስት ቀን ዘጠኝ ላም ሞቶበታል። ገበሬው በድንበር የተጣላውን ጎረቤቱን «መርዞብኝ ነው» ብሎ ከሶት፣ ሰውየው ታስሯል። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ከሞተች ላም ጨጓራ የወጣ፣ የታኘከ ቅጠል ነው።

ቁርጥራጩን አጠበችና በማይክሮስኮፕ ሥር ዘረጋችው። የጠርዙን ጥርስና የጀርባውን ጸጉር እያዩ፣ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ከናሙናዎቹ ጋር ሲያስተያዩ ሦስት ቀን ሆናቸው። ብዙ ሰው ናሙናውን እንደ መጽሐፍ ገጽ ይገለብጠዋል፤ ቅጠሉ ይረግፋል። እሱ ግን ማንም ሳይነግረው ወረቀቱን በሁለት እጁ፣ አፉ ድረስ የሞላ ሳህን እንደሚሸከም ሰው፣ አግድሞ ያነሣው ነበር። ይህን አየች። ሌላ ምንም እንዳላየች ለራሷ ነገረችው።

አንዳንዱ ናሙና ላይ ሁለትና ሦስት ትንንሽ ወረቀት ተለጥፎ ሲያይ ምን እንደሆነ ጠየቃት። የተሳሳተ ነገር ከተጻፈ እንደማይፋቅና እንደማይሰረዝ አስረዳችው፤ እውነቱን ያወቀ ሰው ስሙንና ቀኑን ጽፎ የእርማት ወረቀት ከጎኑ ይለጥፋል። ሌላ ሰው መጥቶ ከተስማማ ደግሞ «ትክክል ነው» ብሎ የራሱን ይጨምራል።

«እኛ ስንሳሳት ከብቱ ይቀበራል» አላት። በዚያ ክፍል ውስጥ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር።

በሦስተኛው ቀን አገኙት። ናሙናው ሰባ ዓመት ሆኖታል። ሰብሳቢው በደበዘዘ ቀለም «ከብት አይነካውም፤ ሣር በጠፋበት ዓመት ግን በልቶት ይሞታል» ብሎ ጽፎበታል። የዚያን ዓመት ዝናቡ ዘግይቶ ነበር። ጎረቤትየው በሳምንቱ ተፈታ። ሰባ ዓመት ሙሉ ያንን መስመር ያነበበ ሰው ይኑር አይኑር አይታወቅም።

ሐኪሙ አበባውን ያመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ውጤቱን ሊወስድ ግን አልተመለሰም።

የደረቀውን አበባ ወረቀት ላይ የለጠፉት፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህንኑ ሲሠሩ የኖሩት ሽማግሌ ናቸው። ከኃላፊው እስከ ዘበኛው «ጋሽ ሙጫ» ይሏቸዋል።

«ይህን ተክል ያላወቀ ምን ዓይነት ሐኪም ነው?» አሏት። «በየአጥሩ ያለውን? ሕፃን የሚያውቀውን?»

«ስሙ እንዲታወቅለት ነው ያመጣው።»

«ማን አለ?»

ማንም አላለም። የጻፈችው እሷ ነበረች።

ጋሽ ሙጫ ብሩሻቸውን አስቀመጡ። «አይ ልጄ» አሉ፣ «ሰው ልቡን ይዞልሽ ቢመጣ ቁመቱን ለክተሽ ሸኘሽው?»

ፊቷ ጋለ። በምሳ ሰዓት ሐኪሙ ወደሚሠራበት ክሊኒክ ደወለች። ጸሐፊዋ ዶክተር ሰኞ ዕለት ወደ ጠረፍ የከብት ሕክምና ጣቢያ ተዛውሮ መሄዱን ነገረቻትና አድራሻውንና ስልኩን ሰጠቻት። ሦስት ቀን ሙሉ ስልኩን እያነሣች መለሰችው። ምን ብላ ትጀምር? ወሬ የሚያውቁ ሰዎች አሉ፤ እሷ ከእነሱ ወገን አልነበረችም።

በአራተኛው ቀን የምታውቀውን ሥራ ሠራች። ትንሽ ወረቀት ቆረጠችና በማይለቅ ቀለም ጻፈችበት፦

«እርማት። ይህ ናሙና ስሙ እንዲታወቅ የመጣ አይደለም። ለእኔ የተሰጠ ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ተቀብዬዋለሁ።»

ስሟንና ቀኑን ጨምራ ለጠፈችው። ክፍሉ ለተመራማሪዎች ናሙና ያውሳልና የውሰት ቅጽ ሞላች። ተዋሽ፦ ዶክተሩ። ጊዜ፦ ሦስት ወር። አመላለስ፦ በአካል። ጋሽ ሙጫ አንድም ነገር ሳይጠይቁ በካርቶን አሸጉላት።

«ሁለት ካርቶን ደርቤበታለሁ» አሉ። «ዕቃው ይሰበራል።»

መልስ አልመጣም። አንድ ወር አለፈ፤ ሁለት። በመሐል አንዲት ተማሪ ያንኑ የአጥር ቁጥቋጦ ልታጠና መጣች። የመቶ ዓመት ናሙናዎችን አውጥተው ያበቡበትን ቀን ከየመግለጫው ለቀሙ፤ ቁጥቋጦው ከድሮው ሃያ ቀን ቀድሞ እንደሚያብብ ታየ። በናሙናዎቹ መሐል አንድ ባዶ ቦታ ነበር፤ «በውሰት ላይ» የሚል ካርድ ተቀምጦበታል። ያንን ካርድ በቀን ስድስት ጊዜ ታየዋለች።

ሦስቱ ወር በሚያልቅበት ቀን ሐኪሙ ካርቶኑን አቅፎ ገባ። ፀሐይ አጥቁሮታል፤ ከስቷልም።

«ቀኑ ዛሬ ነው አይደል?»

«ዛሬ ነው።»

ተቀበለችው። የጻፈው ነገር ካለ ያለው እዚያ ካርቶን ውስጥ ነው። ነገር ግን ከውሰት የተመለሰም ቢሆን ሳይከፈት ሳምንት ያድራል። እጇ ራሱ ፍሪዘሩን ከፈተ፤ ካርቶኑን አስቀመጠ፤ ዘጋ። ጋሽ ሙጫ ጣሪያ ጣሪያውን አዩ።

«እንደገና?» አለ ሐኪሙ።

«ሕጉ ነው።»

ጀርባዋን ለፍሪዘሩ ሰጥታ ቆመች። አንድ ሳምንት ምንም አይደለም። መጠበቅ ትችልበታለች፤ በሽታዋም ይኸው ነበር።

«ምን ጻፍክበት?» አለችው። እስከዚያ ቀን ድረስ አንተ ብላው አታውቅም።

«ትክክል ነው ብዬ።»

«መቼ?»

«በደረሰኝ ዕለት።»

«ታዲያ ሦስት ወር ሙሉ?»

«በአካል ይላል ቅጽሽ። ልምጣ ብል ፈቃዱ ለአንድ ቀን ብቻ ሆነብኝ። ወደዚህ የመመለሻ ማመልከቻ አስገብቼ መልሱ የመጣው ባለፈው ሳምንት ነው።» ወደ ፍሪዘሩ ጠቆመ። «ያን ጊዜ ፍሪዘር ውስጥ ከተተችው ስላት እናቴ ምን አለች መሰለሽ? ‹አበባ ነው ወይስ ሥጋ የወሰድክላት?›»

ሳቀች። በዚያ ክፍል ስትስቅ ሁለተኛዋ ነበር።

በሳምንቱ ካርቶኑን ሦስት ሆነው ከፈቱት። ሁለቱ ወረቀቶች አንዱ ካንዱ ሥር ነበሩ። ጋሽ ሙጫ ላላ ያለችውን የሐኪሙን ወረቀት ጠርዝ በጥቂት ሙጫ አጠበቁ። ናሙናው ቦታው ገባ፤ ካርዱ ተነሣ፤ ተማሪዋም ቀኑን ከሌሎቹ ጋር ቆጠረችው።

ሐኪሙ ወደ ቀድሞ ክሊኒኩ ተመለሰ። በሚቀጥለው ዓመት፣ የእናቱ አጥር ሲያብብ፣ ተጋቡ።