አውድማው ከላይ ሲታይ

አይናዲስ ዓይኗን ከመነጽሩ አንስታ አሸት አሸት አደረገችና መልሳ አጎነበሰች። ነጩ ክብ አልጠፋም።

መነጽሩ ተማሪዎቹ «ባለ እግሩ» የሚሉት ነው። እንደ በርጩማ በቀጫጭን እግሮች ይቆማል። ከሥሩ ከአውሮፕላን የተነሱ ሁለት ፎቶግራፎች ጎን ለጎን ይነጠፋሉ። ሁለቱም የአንድ አገር ፎቶዎች ናቸው፤ ሁለተኛው የተነሳው አውሮፕላኑ ጥቂት ወደፊት ከሄደ በኋላ ነው። ግራ ዓይን አንዱን፣ ቀኝ ዓይን ሌላውን ሲያይ ሁለቱ ድንገት አንድ ይሆኑና ገደሉ ይጎደጉዳል፤ ዛፉ ይቆማል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ዓይን ሊወጋ የመጣ ይመስላል። ይህ የሚሆነው ለሚታየው ሰው ነው። ለማይታየው ሁለት ግራጫ ወረቀት ነው። የጂኦግራፊው መምህር አቶ እንዳላማው ብዙ አጎንብሰው ከቆዩ በኋላ «ደህና ነው» ብለው ቀና አሉ። ከዚያ ወዲህ በክፍሉ ደጅም አላለፉም።

መነጽሮቹንና ፎቶዎቹን ከአዲስ አበባ ይዘው ወደ ደብረ ማርቆስ የመጡት አቶ ከድር የሚባሉ ተመራማሪ ናቸው። ጥናታቸው የአገሩን እህል ከሰማይ መገመት ይቻል እንደሆነ ማወቅ ነው። በየአጥቢያው ስንት አውድማ እንዳለ ከፎቶው ላይ ከታወቀ፣ ስንት እህል እንደሚወቃ መሬት ሳይረገጥ ይታወቃል። ለዚህ ሥራ ከአሥረኛ ክፍል ሁለት ተማሪዎች መረጡ፤ አይናዲስንና አንሙትን። ሁለቱም በየፎቶአቸው ላይ ስስ ወረቀት አንጥፈው፣ ሳይነጋገሩ፣ ቤቱን «ቤ»፣ አውድማውን «አ»፣ ድንጋዩን «ድ» እያሉ ይጽፋሉ። አቶ ከድር ራሳቸው አያዩም።

«እኔ ካየሁ ጥናቱ ተበላሸ» ይላሉ። «እኔ የምፈልገውን ነው የማየው። እናንተ ግን ያለውን ታያላችሁ።»

ሁለቱ ተማሪዎች ከተስማሙ እውነት ነው ተብሎ ይያዛል። ከተለያዩ በቅሎ ተጭኖ ቦታው ድረስ ይኬዳል። አቶ ከድር ይህን «መሬቱ ይፍረድ» ይሉታል። ይሁን እንጂ ሥራው ከተጀመረ ወዲህ መሬቱን የጠየቀው አልነበረም፤ አይናዲስና አንሙት አንድ ቀን ተለያይተው አያውቁምና። አቶ ከድር መጀመሪያ ደስ አላቸው። ኋላ ኋላ ግን ማሰብ ጀመሩ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ለአንሙት ምንም አይታየውም። ጎበዝ የሆነው አዲስ አበባ ለፎቶ ንባብ ትምህርት ይላካል ስለተባለ፣ በመጀመሪያው ቀን «ታየህ?» ሲሉት «በደንብ!» አለ። ከዚያ ወዲህ በዓይኑ ጠርዝ የአይናዲስን ወረቀት እያየ ይገለብጣል።

«ሁለት ወረቀት ነው የማየው፣ እናቴ ትሙት!» ብሏታል አንድ ቀን። «አንቺን ምን ነክቶሽ ነው ተራራ የሚታይሽ?»

«አንተ ፋራ ስለሆንክ ነው።»

«እሺ ፋራው ይገልብጥ፣ ወረቀቱን ጠጋ አድርጊው።»

ዛሬ ከመነጽሩ ሥር ያለው ዝግባ ሜዳ ነው፤ የአይናዲስ አገር። ነጩ ክብ ደግሞ የአባቷ የአቶ ቢምረው አውድማ ነው።

አምና አዲስ የእርሻ ግብር ይመጣል የሚለው ወሬ ሲነፍስ፣ ዝግባ ሜዳ ላይ ሌላ ወሬ ተከተለ። ቀላድ ክንፍ አውጥቷል፤ በገመድ መለካት ቀርቶ በአውሮፕላን ሆኗል ተባለ። የግብር ገማቹ መጥቶ እህሉን የሚያየው አውድማ ላይ ነውና፣ አቶ ቢምረው ከመንገድ ዳር የነበረውን አውድማቸውን ተዉት። ከሸለቆው ጥሻ መሃል አዲስ መነጠሩ። ለቀለቁት፣ አደረቁት፣ ከዚያም አይናዲስን ይዘው አገሩን አዞሯት።

«ከመንገዱ ይታያል?»

«አይታይም አባባ።»

«ከቤተ ክርስቲያኑስ?»

«ኧረ አይታይም።»

«ጅብ እንኳ ሰው ጠይቆ ነው የሚያገኘው» አሉ፤ ራሳቸውም ሳቁ።

ስለ አውሮፕላን ያን ያህል ቢወራም፣ ስለ ላይኛው በኩል ያነሳ አልነበረም። ከላይ የሚያየው እግዜር ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ግብር ሰብስቦ አያውቅም። አውሮፕላኑ የመጣ ዕለት አቶ ቢምረው ጤፍ እያበራዩ ነበር። ድምፁን ሲሰሙ በሬዎቹን ነድተው ዛፍ ሥር ገቡና እስኪያልፍ ተሸሸጉ። አውድማው ግን ገለባውን ለብሶ ፀሐይ ላይ ቀረ። አሁን በዚያ ሁሉ ጥቁር ጥሻ መሃል፣ በፎቶው ላይ ካለው ነገር ሁሉ የነጣው እሱ ነው። በባዶ ዓይን ድንጋይ ሊባል ይችላል። በመነጽሩ ግን አይቻልም። ድንጋይ ከፍ ይላል፤ ይህ ተኝቷል፤ ዛፎቹም ዙሪያውን ቆመው የሚጠብቁት ይመስላሉ።

አይናዲስ እርሳሷን አነሳች። «ድ» ብላ ጻፈች፤ ትንሽዬ «ድ»። አንሙት ይገለብጣል፤ ይስማማሉ፤ መሬቱም አይጠየቅም። የአንሙት ውሸት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠቅም ነገር መሰላት።

«አየሁ!»

የአንሙት ወንበር ተገለበጠ።

«አይናዲስ፣ ቆሙ! ዛፎቹ እናቴ ትሙት ቆሙ! ገደሉን እይው፣ ውስጡ ልገባ ነበር እኮ! መሃል ላይ ደግሞ እንደ ሰፌድ የተዘረጋ...»

«ዝም በል!»

አልሰማትም። ተመልሶ አጎነበሰና፣ ወረቀቷን ዞር ብሎ ሳያይ፣ በራሱ እጅ «አ» ብሎ ጻፈ።

አቶ ከድር በሩ ላይ ቆመዋል። «ምኑን ነው ያየኸው?»

«ዛፉን... ገደሉን፣ ጋሼ።»

«እስከ ዛሬስ?»

አንሙት አሰበ። «እስከ ዛሬም እመለከት ነበር። ዛሬ ግን ይታያል።»

አቶ ከድር ሁለቱን ስስ ወረቀቶች ወስደው በመስኮቱ ብርሃን ላይ ደራረቧቸው። ጣታቸው ሄደ ሄደና አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ፊታቸው በራ።

«ተለያያችሁ! አልሐምዱሊላህ! እኔ እኮ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ሁለት ሰው እንዲህ አይስማማም፤ ባልና ሚስት እንኳ አይስማሙም! በሉ ነገ እንሄዳለን። ጠመንጃ የያዙ ሁለት ነጭ ለባሾች ያጅቡኛል፤ አገሩ ቀያሽ አይወድም ብለውኛል።»

«ጋሼ፣ ይኼ ነገር ለግብር ነው?» አለች አይናዲስ።

«ለጥናት ነው።»

«ጥናቱስ ለምንድን ነው?»

አቶ ከድር ጫማቸውን አዩ። «ጥናቱማ... ለሚመለከተው ክፍል ይላካል።» ከዚያ ኮታቸውን ለበሱ። «በቅሎ ላፈላልግ። እስክመለስ ተነጋገሩበት። አንዳችሁ ስህተታችሁን አይታችሁ ካረማችሁ መሄዱ ይቀራል። ካልሆነ መሬቱ ይፍረድ።»

በሩ ተዘጋ። አንሙት አሁንም ይስቅ ነበር።

«አይተሽዋል አይደል? አውድማ እኮ ነው። አንቺ እንዴት...»

«የአባባ ነው።»

ሳቁ ቀስ እያለ ከፊቱ ወረደ። አውድማው ለምን ጥሻ ውስጥ እንደገባ ነገረችው። ባለፈው ክረምት ወደ ጎረቤት አጥቢያ የሄደው ቀያሽ በቃሬዛ እንደተመለሰ እሱም ሰምቷል። አባቷ ምንሽር ጠመንጃቸውን ከግድግዳ አውርደው እየወለወሉ «ነጭ ለባሽ አውድማዬን ከረገጠ እዚያው ይቀራል» ማለታቸውን ግን አልሰማም ነበር።

«ታዲያ ድንጋይ ይሁና!» አለ። ላጲስ አንስቶ ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበ። ነገር ግን ከመደለዙ በፊት፣ እንደ ዋዛ፣ አንዴ ወደ መነጽሩ አጎነበሰ። «አሁንም ቆመዋል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

አይናዲስ አየችው። ከዚያ ለሰኞ የተቀመጠውን ፎቶ ከፖስታው አወጣች። አውሮፕላኑ አንዱን ቦታ ደጋግሞ ነው የሚያነሳው፤ ያለዚያ ምንም አይቆምም፣ ምንም አይጎደጉድም። ነጩ ክብ እዚያም አለ፤ ከጠርዙ ላይ ሆኖ ሰኞን ይጠብቃል። ዋናው ፊልም ደግሞ አዲስ አበባ ነው። ዛሬ ድንጋይ ከተባለ ሰኞም ድንጋይ መባል አለበት። አንሙትም ያየውን እንዳላየ ሆኖ መኖር አለበት። ከዚያም አንድ ቀን፣ አቶ ቢምረውን የማያውቅ፣ ዓይኑ ደህና የሆነ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ መነጽር ላይ ያጎነብሳል።

«ነገ ከሄዱ አባባ ይተኩሳሉ» አለች።

«ካልሄዱስ?»

«ግብሩ ይመጣል።»

«መቼ?»

«እኔ ምን አውቄ። ዘንድሮ ባይሆን ለከርሞ።»

ላጲሱን ከእጁ ወሰደች። የራሷን «ድ» ደለዘች። ስሱ ወረቀት ሻከረ እንጂ አልተቀደደም። በቦታው «አ» ጻፈች። ከሌሎቹ ተለቅ ያለ «አ» ሆነባት።

አቶ ከድር ሲመለሱ በቅሎ ተገኝቶላቸው ነበር። «ተስማማችሁ?»

«ተስማማን።»

«ማን ነው የተሳሳተው?»

አንሙት አፉን ሊከፍት ሲል፣ «እኔ ነኝ» አለች አይናዲስ። «ዓይኔ ደክሞ ነው።»

«አንቺ?» አቶ ከድር ወረቀቱን አገላብጠው አዩት። በቅሎዋ በመቅረቷ ያዘኑ ይመስላሉ። «ግድ የለም። አንሙት፣ አንተ ግን ዛሬ በርትተሃል።»

አንሙት የተገለበጠውን ወንበር አነሳ። ከግቢው ሲወጡም ቀልድ አልተናገረም። የአዲስ አበባውን ነገር እሱም አላነሳም፤ እሷም አላነሳችም።

ቅዳሜ አይናዲስ የጨሞጋን ወንዝ ተሻግራ ወደ አገሯ ወጣች። መንገዱን ሙሉ የምትናገረውን ስታዘጋጅና ስትጥል ሄደች። ጥሻው ዳር ስትደርስ የአባቷን ድምፅ ሰማች፤ በሬዎቹን እያባበሉ ያንጎራጉራሉ። ቅርንጫፉን ገልጣ ገባች።

አቶ ቢምረው መንሻቸውን ተደግፈው ፈገግ አሉ። ጢማቸው ላይ ገለባ ተሰክቷል። «አገኘሽው? አንቺ መቼም ልጄ ስለሆንሽ ነው። ትናንት ጭቃ ሹሙ እዚህ አጠገብ አልፎ ሄደ! ስሙን እየጠራሁ ሳልሰድበው የቀረሁት ለጥቂት ነው።»

ዝም ብላ ወደ ቤት መግባት ትችል ነበር። አባቷ ይህን ሳቅ ቢያንስ እስከ መጪው ክረምት ይስቁት ነበር።

«አባባ» አለች፤ «እስቲ አንዴ ቀና ብለው ወደ ላይ ይዩ።»

ቀና አሉ። ከዛፎቹ ጫፍ በላይ፣ ልክ በአውድማው መጠን የተከበበ፣ ጥርት ያለ ሰማይ ነበር።

«ምን አለ?» አሉ። «ሰማይ ነው።»

አይናዲስ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ገለባው ላይ ተቀመጠች። በእጇም አጠገቧ ያለውን ቦታ ጠረገችላቸው።

«ይቀመጡ» አለች።